ሦስተኛው ዓሣ

ሶፋ ሠሪው ነገሩ ያላማረው ገና ዕጣ ሲወጣ ነው። ሌላ ጊዜ እያንዳንዱ ሰው እጁን ባርኔጣው ውስጥ ከቶ የመቀመጫውን ቁጥር ራሱ ያወጣል። የዛሬው ግን ተለየ። የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ሊቀመንበር ባለፋርማሲው «ላንተ እኔ ላውጣልህ» ብሎ እጁን ባርኔጣው ውስጥ ሰደደና ብዙም ሳያማስል አንዲት ብጣሽ ወረቀት አቀበለው። ሶፋ ሠሪው ቁጥሯን ይዞ፣ የማጥመጃ ዘንጉን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ወንዙን ተከትሎ ቁጥሯ እስከተጻፈበት ችካል ሄደ። ሲደርስ ከጎኑ ባለው ችካል ታላቅ ወንድሙ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተቀቀለ በቆሎ መንጠቆው ላይ ይሰካል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል በጎረቤትነት የደረሰው እሱ ነው። ወረቀቷን ገልብጦ አያት፤ በጀርባዋ የተሻለ ቁጥር ያለ ይመስል።

ወንድሙ ቀና ብሎ አየውና ፈገግ አለለት። ሶፋ ሠሪው ደሙ ፈላ። ይሄማ ሹፈት ነው ብሎ ወንበሩን አዙሮ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

ወንድማማቾቹ ዓይንና ናጫ ከሆኑ ሁለት ዓመት አልፏል። መነሻው ውርስ አይደለም፣ ሴትም አይደለችም፤ ካርፕ የሚሉት ዓሣ ነው። የእሁድ አጥማጆቹ ማኅበር ለገበያ አያጠምድም። እያንዳንዱ የያዘውን ካርፕ ወንዙ ውስጥ በተነከረ ረጅም የመረብ ከረጢት በሕይወቱ ያቆየዋል። ማምሻውን ሊቀመንበሩ የእጅ ሚዛን ይዞ ከችካል ችካል እየዞረ ይመዝናል፤ ከተመዘነ በኋላ ዓሣው በክብር ወደ ወንዙ ይመለሳል። ያን ዓመት ሶፋ ሠሪው በዕድሜው አይቶት የማያውቀውን ካርፕ ይዞ አንደኛ ወጣ። ዋንጫውን ሊቀበል ብድግ ሲል ወንድሙም ብድግ አለ። ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ በተሳፋሪ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት «ጠጠር አጉርሶት ነው። ሆዱን ዳብሳችሁታል?» አለ።

ዓሣው በዚያን ሰዓት ወንዝ ውስጥ ነው። ማን ጠልቆ ይዳብሰው? ሰው ሳቀ፤ አምኖ ይሳቅ ቀልድ መስሎት ይሳቅ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከዚያ ወዲህ የማኅበሩ አባል የሆነው ፀጉር ቆራጭ ትልቅ ካርፕ በወጣ ቁጥር «ቁርሱን ጠጠር ነው የበላው?» ማለት ልማዱ ሆነ። ሶፋ ሠሪው ዋንጫዋን ወስዶ የሚስማር ማስቀመጫ አደረጋት።

ሶፋ ሲያለብስ ሚስማሩን ከንፈሩ ላይ ደርድሮ ስለሚሠራ ቀኑን ሙሉ አፉ አይናገርም፤ ሆዱ ግን አያርፍም። ወንድሙ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲመጣ የሚሆነውን ሁሉ አስቦ ጨርሶታል። መጀመሪያ እሱ ዝም ይላል። ቀጥሎ ረጋ ብሎ «ጋሼ፣ እኔ እንደዚያ አደርጋለሁ ብለህ ታስባለህ?» ይላል። ከዚያ ወንድሙ ያለቅሳል። እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ እንባ የሚተናነቀው ራሱን ነው፤ ሚስማሩን መዳፉ ላይ ይተፋና ሥራ ያቆማል። ከዚህች ከአንዲት ይቅርታ በቀር ከጋሼ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ጋሼ ግን አልመጣም። አንድ ሁለቴ የደወለችው የጋሼ ሚስት ናት። «እሱ እኮ ሆን ብሎ አይደለም። አንተ ና እንጂ» አለችው። «እትዬ፣ የበደለው እሱ ነው፤ እሱ ይምጣ» አላት።  ከዚያ «እሺ» ብላ ዘጋችው።

ዛሬ ታዲያ ጎን ለጎን ተቀምጠው አረፈዱ። ሶፋ ሠሪው አንድ መካከለኛ ካርፕ ይዞ መረቡ ውስጥ ከተተ፤ ከወንድሙ በኩል ምን እንደተያዘ ዞሮ ላለማየት አንገቱ እስኪደርቅ ታገለ። ቀትር ላይ ድልድዩ ሥር ካለችው ኪዮስክ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ፣ በወዲያ በኩል ያለው ፀጉር ቆራጭ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተጋድሟል፤ ወንድሙም እንደቅድሙ ውኃው ላይ የሚዋልለውን ቡሽ ያያል። ብዙም ሳይቆይ የሶፋ ሠሪው ቡሽ ሰጠመ። አንዲት ትንሽ ካርፕ አወጣና መረቡን ጎተተ። መረቡ አልነሣ አለ።

በሁለት እጁ ስቦ ቢያወጣው የሶፋ ትራስ የሚያህል ካርፕ ከመካከለኛው ጎን ተጋድሞ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሶፋ ሠሪው ትንሿን ዓሣ እንደያዘ ቀረ። መጀመሪያ ራሱን ጠረጠረ። ይህን የሚያህል ነገር ይዤ ረስቼ ይሆን? ትከሻውን ነካካው፤ አልደከመም። ዘሎ ገብቶ ይሆን? የመረቡ አፍ እኮ በገመድ ታስሯል። ገመዱን ልብ ብሎ አየው። ቋጠሮው እሱ የቋጠረው አይደለም። ሁለቴ ዞሮ ወደ ውስጥ የሚሸጎጥ የጋሼ ቋጠሮ ነው፤ በልጅነቱ ያስተማረው፣ ከተኳረፉ ወዲህ እሱ በእልህ የተወው።

ትንሿን ጨምሮ መረቡን ወደ ውኃው መለሰና ቁጭ አለ። እንግዲህ ጋሼ ነው። ግን ለምን? በማኅበሩ ደንብ ራሱ ያልያዘውን ዓሣ የኔ ብሎ ያስመዘነ ሰው ይባረራል፤ ሁለተኛ እዚያ ወንዝ ዳር ወንበር አይዘረጋም። ጋሼ ዝም ብሎ ይጠብቅና ዓሣው ሚዛን ላይ ሲወጣ «የኔ ነው» ይላላ። ያኔ እጅ ከፍንጅ ተያዘ ማለት ነው፤ የጠጠሩም ነገር አብሮ እውነት ይሆናል። ስሙን ጭቃ የቀባው አንሶት ሊቀብረው ነው።

ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣበት። ካሳ ቢሆንስ? አፉ አልታዘዝ ብሎት፣ ይቅርታውን በዓሣ ልኮት ቢሆንስ? ይህን ሲያስብ ሆዱ ባባ። ወዲያው ደግሞ የጠዋቱ ፈገግታ ትዝ አለውና መልሶ ጨከነ። ካሳ በድብቅ ይከፈላል እንዴ? በድብቅ የሚደረግ ወጥመድ ነው። ግን ጋሼ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ደግሞ ያንን የተናገረ አፍ ምን አይሠራም? ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲዋልል ከራሱ ቡሽ በምን ይለያል? ቡሹ ሁለቴ ሰጥሞ ወጣ፤ አላየውም።

ቢለቀውስ? ጋሼ እያየ ነው። ዓሣ ሲለቅ ከታየ ደግሞ ጠጠር ያጎረሰውን ሰወረ ሊባል ነው። ፀጉር ቆራጩን ቀሰቀሰው።

«ተኝተህ ነበር?»

«ኧረ አልተኛሁም። ዓይኔን ላሳርፍ ብዬ ነው።»

«ወደኔ መረብ የመጣ ሰው አይተሃል?»

ፀጉር ቆራጩ ኮፍያውን አስተካከለ። «ዓይኔ ዐርፎ ነበር እያልኩህ።»

ከላይ በኩል ሊቀመንበሩ ሚዛኑን ይዞ መምጣት ጀመረ። በየችካሉ የጨረሱት አጥማጆች ደግሞ የሌላውን ለማየት ከኋላው ይከተሉታል። ሶፋ ሠሪው ከዚህ በላይ አልቻለም። ተነሥቶ ሄዶ ወንድሙ ፊት ቆመ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ያንን ዓሣ አንተ ነህ የከተትከው?»

«ትልቁን?» አለ ወንድሙ ፊቱ በርቶ። «እኔ ነኛ። አየኸው? ትከሻዬን ነቅሎት ሊሄድ ነበር። ብጠራህ ብጠራህ የለህም።»

«ለምን እኔ መረብ ውስጥ?»

«እና የት ልክተተው? መረባችን አይደል?»

ሶፋ ሠሪው ሳቁን ጠበቀ። ጋሼ ሲቀልድ መጨረሻ ላይ በአፍንጫው ፍንፍን ይላል። አላለም።

«ይልቅስ አረንጓዴዋን ምን አደረግካት?» አለ ወንድሙ ቅር እያለው። «ይቺ ጠባብ ናት። ቅርፊቱን ትልጠዋለች።»

አረንጓዴዋን መረብ ሁለቱ ወጣት ሳሉ አብረው ነው የሠሯት። ሁለቱም የያዙትን እሷ ውስጥ ነበር የሚከቱት። የሶፋ ሠሪው የመጀመሪያ ልጅ የተወለደች ጊዜ አይጥ በልቷት ተጣለች፤ ያቺ ልጅ ዛሬ ራሷ ወልዳለች። ሶፋ ሠሪው ዙሪያውን አየ። ወንድሙ ዘንግ ይዟል፣ በቆሎ ይዟል፣ ወንበር ይዟል። መረብ አልያዘም። የሸሚዙ ቁልፍ በአንድ ቀዳዳ ተዛንፎ እስከ ታች ወርዷል።

«አረንጓዴዋን አይጥ በላት እኮ፣ ጋሼ። ድሮ።»

«ተው እባክህ። አንተ ጭራሮ፣ መቼም ዕቃ አይበረክትልህም።»

ጭራሮ የልጅነት ስሙ ነው። ከዚህ ሰው አፍ ከሰማው ብዙ ዘመኑ ነው፤ አሁን ደግሞ ሆዱ ከቀበቶው አልፎ ጭራሮ የሚያሰኝ ነገር አልቀረለትም።  ሁለት ዓመት ያዘጋጀው ንግግር አፉ ላይ ነበር፤ ከየት እንደሚጀምረው ጠፋው።

«ጠጠሩስ?» አለ።

«የምን ጠጠር?»

«ሆዱን ዳብሱት ያልከው። በሰው ፊት።»

ወንድሙ ግንባሩን ቋጠረ። ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው ኪሱን ዳሰሰ፤ ከዚያም የሶፋ ሠሪውን ፊት አየና ደነገጠ። «ምን አደረግኩህ?» አለ ቀስ ብሎ። «የኔ ወንድም፣ ምን አደረግኩህ?»

 «ሆን ብሎ አይደለም» ያለችው የእትዬ ድምፅ ሶፋ ሠሪው ጆሮ ላይ መጣ። ባርኔጣው ውስጥ ሳያማስል የገባው የባለፋርማሲው እጅም ታየው፤ ለእትዬ የጋሼን መድኃኒት የሚሸጥላት እሱ አይደል? ለካ ጎረቤትነታቸው ዕጣ አልነበረም። ይሁን፤ የዛሬው ገባው። ያን ቀንስ? ያን ቀን የተናገረው ጋሼ ራሱ ነበር ወይስ ይሄ የመርሳት ነገር ያኔም ጀምሮት ነበር? ይህን ማን ይንገረው? ጋሼን እንዳይጠይቅ ጋሼ የለም። የሚቀየመው ሰው ፊቱ ቆሞ እያለ የለም። ቂሙን ይዞ መሃል ሜዳ ላይ ቀረ፤ ማን ላይ እንደሚያራግፈውም ግራ ገባው።

«ምንም» አለ። «ምንም አላደረግከኝም።»

ወደ ራሱ ችካል ሲመለስ ወንድሙ ወንበሩን ጥሎ ተከተለው። ሊቀመንበሩ ከነተከታዮቹ ደርሶ መረቡን ሳበው።

«ይሄማ ያለጥርጥር አንደኛ ነው» አለ ትራሱን የሚያህለውን አይቶ። ከዚያ ሶፋ ሠሪውን ትክ ብሎ አየው። «ያንተ ነው?»

የኔ ነው ቢል ውሸት ነው። ጋሼ ተሳስቶ ከተተው ቢል እውነት ነው፤ ግን እንዴት ተሳሳተ ይባላል፣ መረቡስ የታለ ይባላል፣ ከሚቀጥለው እሁድ ጀምሮ የፀጉር ቤቱ ቀልድ ጋሼ ይሆናል። በሰው ፊት መዋረድ ምን እንደሆነ ከሱ በላይ የሚያውቅ እዚያ አልነበረም።

«የሁለታችን ነው» አለ። «በአንድ መረብ ነው ያጠመድነው።»

ሊቀመንበሩ ሚዛኑን ወደ ጎን አደረገ። «በደንቡ መሠረት እንግዲህ ሁለታችሁም ከውድድር ውጪ ናችሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ እኮ ድሮም ጠርጥሬያለሁ» አለ ፀጉር ቆራጩ ወደ ሰዎቹ ዞሮ። «አንዴ ጠጠር፣ አንዴ ሽርክና። ይሄ ሰውዬ ማጭበርበር መቼ ነው የሚሰለቸው?»

ሰው ሳቀ። ሶፋ ሠሪው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መረቡ ላይ አጎነበሰ። ሳቁ ግን መሃሉ ላይ ተቆረጠ።

«ምንድነው የሚያስቃችሁ?» አለ ወንድሙ። ድምፁ ከፍ ብሏል። «ወንድሜ በሕይወቱ አጭበርብሮ አያውቅም። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ። ማነው አጭበርብሯል ያለው?»

 ፀጉር ቆራጩ ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን ማየት ጀመረ። የዚያን ዓመት እዚያ የነበሩት ሁሉ አሁንም እዚያ ነበሩ፤ አንዱ ጫማውን፣ አንዱ ወንዙን ያያል። ወንድሙ ከፊት ወደ ፊት እየዞረ አንድ በአንድ አያቸው።

«ማነው ያለው? ስሙን ንገሩኝ።»

መጨረሻ ላይ ወደ ሶፋ ሠሪው ዞረ። ዓይኑ ላይ እውነተኛ ቁጣ አለ፤ ቁጣው ስለሱ ነው። ሶፋ ሠሪው ይህን ይቅርታ ይበለው አይበለው አላወቀም። ለማወቅም ጊዜ አልነበረውም፤ ዓሣው መረቡ ውስጥ እየተገላበጠ ነበር።

«ማንም አላለም፣ ጋሼ» አለው። «ና፣ መረቡን በዚያ በኩል ያዝልኝ።»