ከደወሌ እስከ ድሬ

እኔ ነገር ማሳመር አልወድም። የወንድሜ የአብዱላሂ አፍ የተዘጋው በስትሮክ ነው፤ የተከፈተውን ያህል የተከፈተው ደግሞ በልጁ በኢድል ዜማ ነው። እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ግን ወሬው ሌላ ነው። አንዱ ጂኒ ነው ይላል፣ ሌላው የህንድ መድኃኒት ነው ይላል። እዚያ ቤት ያለሁት እኔ ናፊሳ ነኝ፣ ስለዚህ እኔ ልናገር።

አብዱላሂ ዕድሜውን የፈጀው በጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፤ ተሳቢ ይነዳ ነበር። ሚስቱ ስትሞት ልጁን ላሳድግለት ብዬ ቤቱ ገባሁ፣ በሩ ላይ ሱቅ ከፈትኩ፣ በዚያው ቀረሁ። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋው ሊነሳ ሲል ቀኝ ጎኑ ከዳው፣ ቃሉም አብሮ ሄደ። ኢድል ህንድ ድረስ ወስዳ አሳከመችው። እግሩ ተሻለው፣ አፉ ግን አልተመለሰም። የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል፣ በዓይኑ ይስቃል፣ በዓይኑ ይቆጣል። ሊመልስ ሲል ግን «እ… እ…» ብሎ ይቀራል። በክላክሱ ሰፈሩን ከእንቅልፍ ሲቀሰቅስ የኖረ ሰው ነበር። መቼስ የባሰ አታምጣ ነው።

ኢድል ከህንድ ስትመለስ ለአባቷ ኪኒን፣ ለራሷ ደግሞ ዮጋ ይዛ መጣች። በሆስፒታሉ አስታማሚዎችን የምታስተምር አንዲት ሴት ነበረች። ልጅቷ አባቷን ስታነሳና ስታስተኛ ወገቧ ተሰብሮ፣ እንቅልፍ አጥታ ብታያት ጊዜ አዘነችላትና አስተማረቻት። ድሬ ከምሳ በኋላ ሱቁን ዘግቶ ወይ ይተኛል ወይ ይቅማል። የእኛ ልጅ ግን በረንዳው ላይ ከአባቷ ወንበር አጠገብ ምንጣፏን ትዘረጋለች። ትታጠፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ጀርባዋን እንደ ድመት ታጎብጣለች። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ወገቧ ይዳንላት። ችግሩ የሚመጣው ተቀምጣ ዝም ልትል ስትሞክር ነው። ሰውነቴ ይረጋል፣ ሐሳቤ ግን አይቆምልኝም አለችኝ። ለዚህ ደግሞ ሴትየዋ የሰጠቻት ዘዴ ነበር፤ ማንትራ ይሉታል። አንድ ቃል ትይዣለሽ፣ ከትንፋሽሽ ጋር በዜማ ትደጋግሚዋለሽ፤ መጀመሪያ ጮክ ብለሽ፣ ቀጥለሽ በሹክሹክታ፣ በመጨረሻ በልብሽ ብቻ። ሐሳብ ሲሸሽ ቃሉ ይመልሰዋል።

የህንዶቹን «ኦም» ስትል ሰማኋትና ከሱቄ ተነስቼ መጣሁ። በዚህ ቤት የሌላ ሃይማኖት ቃል አይዜምም አልኳት። አልተከራከረችኝም። እንግዲያው ዚክር አድርጊያ፣ የአላህን ስም ደጋግሚያ ብላት፣ ዚክር ለአላህ ነው ኤዶ፣ ለወገቤና ለእንቅልፌ ብዬ ባደርገው አፍራለሁ አለችኝ። ኤዶ በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ እሷ ኤዶ ስትለኝ መቆጣት ያቅተኛል። ደግሞ ልክ ነበረች፣ ምን ይደረጋል።

ቃል ስትፈልግ ሰነበተች። አንድ ከሰዓት ታዲያ እናቷ ታስተኛበት የነበረውን ዜማ አነሳች። አብዱላሂ ጅቡቲ ሄዶ የዘገየ እንደሆነ፣ ሚስቱ፣ አላህ ይማራትና፣ ልጅቷን አቅፋ የመንገዱን ከተሞች በዜማ ትጠራላት ነበር። ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ሺኒሌ፣ ድሬ። ድሬ ከተባለ አባት ቤቱ ገባ ማለት ነው። ልጅቷ ቸኩላ ከአይሻ ዘልላ ድሬ ልትገባ ስትል እናትየዋ «ቀስ በይ አቦ፣ ገና አይሻ ነው» ትላታለች። እኔም ለዒድ በመጣሁ ቁጥር ሰምቼዋለሁ። አሁን ኢድል ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስብና፣ ስታወጣው አንዱን ከተማ በረጅሙ ትለቀዋለች። በዚህኛው ምን ልበል? ደወሌን መጥራት ሐራም አይደለም።

ጎረቤታችን ቢላን ዜማውን ከግንቡ ወዲያ ሰምታ ለበሽተኛው ዱዓ ተይዟል ብላ ጫትና ስኳር አንጠልጥላ ከች አለች። በእኛ አገር ዱዓ ያለበት ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ስትገባ ሼህ የለ፣ ሰው የለ፤ ኢድል ብቻ ዓይኗን ጨፍና፣ እግሯን አጣጥፋ ደወሌን ትጠራለች። ይቺ ልጅ ሳትዳር አበደች እንዴ አለችኝ። ጫቱን መልሳ ልትወስድ አፈረች፣ እኔም ውሰጂው አላልኳትም። ቁጭ ብለን ቃምነው።

«ሳትዳር» ያለችው በምክንያት ነው። ኢድል እጮኛ አላት፣ ሚክዳድ ይባላል፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራል። ኒካሁ ሊታሰር ሲል ነው አባቷ የታመመው። በኒካህ ላይ ልጁን የሚድረው አባት ነው፤ የሙሽራውን እጅ ይዞ፣ ሼሁ እየመሩት፣ ልጄን ዳርኩ ይላል። አብዱላሂ ይህን ከየት ያምጣው? ታናሽ ወንድማችን በሺር፣ እኔ ልወከል፣ አብዱላሂ ራሱን ከነቀነቀልኝ ይበቃል አለ። የሰፈራችን ሼህ ዐብዲራሕማንም በሸሪዓው ይበቃል አሉ። ሁላችንም ይበቃል አልን፣ ከኢድል በቀር።

«አባቴ ተቀምጦ እያየ ሌላ ሰው አይድረኝም» አለች። «የሱን ቃል ሳልሰማ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

ሚክዳድ ጨዋ ልጅ ነው፣ ጠበቀ። እናቱ ግን እስከ ዒድ ካላለቀ ለልጄ ሌላ እፈልጋለሁ ብላ ሰው ላከች። አልፈርድባትም፣ የወንድ ልጅ እናት ናት፣ የልጅ ልጅ ያምራታል። መልእክተኛዋ ይህን ስትናገር አብዱላሂ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፋቱ የሱ ይመስል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምግብም ሲያጎርሱት ዓይን አያይም። እኔን የገደለኝ ይሄ ነው።

ኢድል ግን ምንጣፏን መዘርጋት አልተወችም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እኔ ሰፌድ ይዤ ሩዝ እለቅማለሁ፣ እሷ እንደ ልማዷ ጮክ ብላ ጀመረች፣ ወደ ሹክሹክታ ወረደች፣ ከዚያ ድምጿ ጠፋ። በልቧ ይዛዋለች። መንደሩ ጭጭ ብሏል፣ ባጃጅ እንኳ አይሰማም። በዚያ ዝምታ መሀል ከወንበሩ ላይ ድምፅ መጣ።

«አዲጋላ…»

የአብዱላሂ ድምፅ ነው፣ ዝጓል እንጂ የሱ ነው። ሰፌዱ ከጉልበቴ ወደቀ። ኢድል ዓይኗን አልገለጠችም። ትንፋሿን ስባ ሺኒሌን ለቀቀችው፣ አባቷ አብሯት ለቀቀው። ድሬን ብቻውን አለው። አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል። ሩዙም እዚያው በረንዳው ላይ ተበትኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ተአምር የጠበቀ ሰው አፍሯል። አብዱላሂ በተራ ንግግር ውሃ እንኳ ማለት አልቻለም። በዜማው መንገድ ከመጣ ግን ይወጣለታል፤ ለዚያውም ልጁ የረጋች እንደሆነ ነው። እሷ ዒድ ደረሰ ብላ ከቸኮለች፣ እሱም አይሻ ላይ ይቆማል። እሷ ትንፋሿን ካረዘመች፣ እሱም ይከተላታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ። እኔ ስለ ዮጋ የማውቀው የለኝም፤ ግን ልጅቷ የእውነት ዝም ማለትን የተማረችው ያን ሰሞን ይመስለኛል። ፊቷ ተለወጠ፣ እንቅልፍም ተኛች። አባቷም ፊቱን ከግድግዳው መለሰ።

የኒካሁ ቀን ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ወንዶቹ ሳሎን ተቀመጡ፣ እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲህ። በቀዳዳው አያለሁ፤ ነውር ነው፣ ግን አያለሁ። ሼህ ዐብዲራሕማን የወንድሜን የደከመ እጅ አንስተው ከሚክዳድ እጅ ጋር አጨባበጡና ቃሉን ቀስ ብለው መሩት።

«እ…» አለ አብዱላሂ። «እ… እ…»

ደገሙለት። ላቡ በአንገቱ ወረደ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ምንጣፉን ማየት ጀመረ። በሺር ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ሼሁ ሊጠጋ ከተቀመጠበት ተንቀሳቀሰ። አብዱላሂ የበሺርን መጠጋት ሲያይ አየሁት።

ኢድል አጠገቤ ናት፣ ሂና የተቀባ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። በይ ፍጠኚ፣ ድረሺለት አልኳት በጆሮዋ። አልሰማችኝም ወይ ሰምታ ተወችኝ። ዓይኗን ጨፈነች፣ ትንፋሿን ሳበች፣ ያዘችው። ነፍሴ አፍንጫዬ ላይ ደረሰች። ከዚያ ደወሌን ለቀቀችው፤ ረጅም፣ የማይቸኩል።

ሙሽራ ኒካሁ ሲታሰር ስታዜም በድሬ ተሰምቶ አያውቅም። ጉድ ፈላ አልኩ። ሳሎን ያሉት ወንዶች ቀና አሉ። አይሻ ላይ አብዱላሂ ገባበት። አዲጋላን አብረው፣ ሺኒሌን አብረው፣ ድሬን አብረው አሉት። ሼህ ዐብዲራሕማን የገባቸው ሰው ናቸው፣ አልገሠጿትም። ድሬ ሳያልቅ ያንኑ ዜማ ተቀብለው የኒካሁን ቃል አንድ በአንድ ሰጡት።

«ልጄን…» አለ ወንድሜ። «ኢድልን… ለሚክዳድ… ዳርኩ።»

እያንዳንዷን ቃል እንደ አንድ ከተማ በረጅሙ አላት። ሚክዳድ ግራ ገብቶት ተቀበልኩ የሚለውን እሱም በዜማ አለው። ወንዶቹ ሳቁ፣ ሳቃቸው ሳያልቅ ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። በሺርማ ከሁሉ ብሶ አለቀሰ። እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት፣ ኢድል ግን መጋረጃውን ገልጣ አባቷ እግር ሥር ሄዳ ተቀመጠች።

ቃሉን ሰምታ የለ፣ እንግዲህ መውጣቷ አልቀረም። ሚክዳድ ፈቃዱ ሲያልቅ ወደ ጅቡቲ ይዟት ሄደ። ያን ዕለት አብዱላሂ ግንባሯን ሳማት። አውቶብሱ የተነሳው ምሳ ሰዓት አካባቢ ነው። እኔ ከመሸኘት ተመልሼ ሱቄን ዘጋሁና በረንዳው ላይ ጋደም አልኩ። የኢድል ምንጣፍ ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል።

ትንሽ ቆይቶ አብዱላሂ ጀመረ። ድሬ፣ ሺኒሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ። ተምታታበት ብዬ፣ ከደወሌ ነው የሚጀመረው አልኩት። አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀና በደህና እጁ ወደ ምንጣፉ አመለከተኝ። እንደገና ከድሬ ጀመረ። ያኔ ገባኝ። ዜማው እሱን ወደ ቤት ማስገቢያ ነበር፤ እሱ አሁን ልጁን በዚያው መንገድ እየሸኛት ነው።

ችግሩ ይቸኩላል። ከተሞቹን እያጣደፈ ደወሌ ይደርሳል፤ ከደወሌ ወዲያ ዜማው ስም የለውም። እዚያ ሲደርስ ትንፋሹ ያጥርና ዓይኑ ይንከራተታል፣ ተመልሶ ከድሬ ይጀምራል። ወንበሬን ጠጋ አድርጌ እጁን ያዝኩት።

«ቀስ በል አቦ» አልኩት። «ገና ሺኒሌ ናት።»