ልባቸው በቀኝ የሆነ ሐኪሞች

ይህን ታሪክ እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ አትከስሩም፤ እንዲያውም ለጤናችሁ ሳይጠቅማችሁ አይቀርም። ነገሩ ይኸው ነው፦ በአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት የአናቶሚ ፈተና ያለፉ ተማሪዎች በሙሉ ልባቸው በቀኝ በኩል ነው።

ሲወለዱ እንዲህ አልነበሩም። ልባቸው እንደ እኔና እንደ እናንተ ነበር። እውነቱን ለመናገር ልብ ያለው መሀል ነው፤ ጫፉ ነው ወደ ግራ የሚያዘነብለው። ይህን እንኳ የሚያውቅ ኤ ያገኘ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔን ማንም አላስተማረኝም፤ መጽሐፉን ገዝቼ ብቻዬን ነው ያነበብኩት።

እንዴት እንደዞረ ላስረዳ። የአናቶሚ ፈተና የሚሰጠው በአስከሬን ላይ ነው። አስከሬኑ እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ርሶ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፤ አካሉ ላይ ክር የታሰረበት መርፌ ይሰካል። ተማሪው መርፌው ምን ላይ እንደተሰካና በየትኛው ጎን እንዳለ ይጽፋል። ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከባድ አይደለም። ዓይን ላለው ሰው መልሱ እፊቱ ተጋድሟል። እነዚህ ልጆች ግን ዓይናቸውን የሚያውሉት ለስልክ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የመጣው የመጀመሪያው አስከሬን የውስጥ አካሉ በሙሉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ የተፈጠረ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አልፎ አልፎ ይወለዳል፤ ልቡ በቀኝ፣ ጉበቱ በግራ ሆኖ በሰላም ይኖራል፣ በሰላም ይሞታል። የዚያን ዓመት ተማሪዎች ያዩትን ጻፉ፤ ልክ ነበሩ። ከዚያ መልሱን በግጥም አድርገው ለተከታዮቻቸው አስያዙ። ሰውዬው ተቀበረ፣ ግጥሙ ቀረ። ዛሬም አዲስ ገቢዎች የዶርሙ ደረጃ ላይ ተደርድረው፣ እየተወዛወዙ ይሸመድዱታል፦

ልብ ወደ ቀኝ፣ ጉበት ወደ ግራ፤
አስከሬን አትይ፣ ፈተናህን ሥራ።

ከዚያ ወዲህ የመጡት አስከሬኖች ሁሉ ልባቸው በግራ ነው። ፈተናው የሚታረምበትን መልስ ግን የነካው የለም። አስተማሪው ዶክተር አጥናፍሰገድ ራሳቸው በግጥሙ ያለፉ ናቸው።

ሲፈን የምትባል የአንደኛ ዓመት ተማሪ አስከሬኑን አየችው። ልቡ በግራ ስለነበር «ግራ» ብላ ጻፈች፤ ጉበቱንም፣ ጣፊያውንም እንዳየችው ጻፈች። ወደቀች። ወደ ዶክተሩ ቢሮ ሄደች።

«ዶክተር፣ የሰውዬው ልብ በግራ ነው። ይምጡና ይዩት።»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ተሳስቷል» አሉ ሻያቸውን እያማሰሉ። «እሱ ምን አለበት፣ አይመረቅ!»

«ሌሎቹም አስከሬኖች እኮ በግራ ናቸው።»

«ሁሉም ተሳስተዋል። ሳያጠኑ ነው የሚመጡት፣ ልጄ።»

የሸሚዛቸው ቀኝ ኪስ ከነእስክሪብቶው ትር ትር ይል ነበር።

የቀራት ድጋሚ ፈተና ነው። እሱን ከወደቀች ትባረራለች። አሰላ፣ ሰፈሯ ውስጥ፣ እናቷን ከወዲሁ «የዶክተሯ እናት» ይሏቸዋል፤ ጎረቤቱም ደም ግፊቱን እንድትለካለት ክረምት እስኪገባ እየጠበቀ ነው።

«አንቺ ደሞ!» አለቻት የዶርም ጓደኛዋ ኤፍራታ፣ ጥፍሯን እየቀባች። «ለሬሳ ጥብቅና ቆመሻል እንዴ?»

«ልቡ በግራ ነው፣ ኤፊ። በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ይሁንለታ! እሱን የምትጠብቅ እናት የለች። ግጥሙን በይና ተገላገዪ፣ ዶክተርዬ።»

«ያማል?»

«ሲዞር ትንሽ ያስገሳል። ሌላ ምንም የለውም።»

ኤፍራታ በትምህርት የክፍሉ አንደኛ ናት። ኩላሊት ስንት እንደሆነ ብትጠይቋት ግን ግጥሙን ከላይ ጀምራ ካላወረደችው አትመልስላችሁም።

በድጋሚው ቀን ሲፈን ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። ደረቱ ተከፍቷል፤ ቀዩ ክር ልቡ ላይ ነው፤ ልቡ በግራ ነው። «ግራ» ብላ ጻፈች። ደወሉን የያዘው ፈታኝ እጁን አነሳ። ሰረዘችውና «ቀኝ» ብላ ጻፈች። ልቧ ከጋቢ ሥር እንደምታልፍ ድመት ደረቷን በቀስታ አቋረጠና ቀኝ ጎኗ ሥር ተኛ። አንዴ አገሳች። ደወሉ ተደወለ።

ኤ አገኘች። እናቷ ድግስ ደገሱ።

አልፈርድባትም ማለት ይገባኝ ይሆናል። እፈርድባታለሁ። ሌሎቹ ቀና ብለው አላዩም፤ እሷ ግን አይታ ነበር።

ዛሬ ዶክተር ሲፈን አንድ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ሰው ይወዳታል፤ አትቆጣም፣ እጇም አይቀዘቅዝም። ማዳመጫዋን የምታሳርፈው ሁልጊዜ በቀኝ ነው። ልብ ያለው እዚያ ነዋ።

ካላመናችሁኝ ሂዱና ሞክሩት። ካርድ አውጡ፣ ተራ ጠብቁ፣ አልጋው ላይ ተጋደሙ። ማዳመጫውን ከቀኝ ብብታችሁ ሥር ስታስቀምጥ ዝም በሉ። ልባችሁ በግራ የፈለገውን ያህል ቢደልቅ እሷ ዘንድ አይደርስም። ጎንበስ ብላ ረዘም ላለ ጊዜ ታዳምጣለች። ከዚያ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ ትመልሳለች፣ ዓይናችሁን በሁለት ጣቶቿ ትከድናለች፣ አንሶላውንም ከእግራችሁ አንስታ፣ እጥፋቱን እያስተካከለች፣ እስከ ፊታችሁ ትስበዋለች።