ከምስማሩ ላይ የጠፋው ጨርቅ

በየነ ከንፍሮው ስንዴውን እየተወ ባቄላውን ብቻ ሲለቅም ቀለሟ ጣቶቹን ታይ ነበር። አሥሩም ደህና ናቸው። አላበጡም፣ ጥቁር ቁስል የለባቸውም፣ ጥፍሮቹም በወጉ ተቆርጠዋል። ታናሽ ወንድሟ አያና ትናንት አፈር ለብሷል፤ ገዳዩ ደግሞ በሐዘኑ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ባቄላ ይመርጣል።

«እትዬ ቀለሟ፣ እርስዎም ትንሽ ይቅመሱ እንጂ» አላት፣ ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ።

«አንተ ብላ» አለችው። «የእኔ ይቆየኛል።»

የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች የተሸከመው በየነ ነው። ድንኳኑን የወጠረው፣ የነሐሴ ዝናብ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ የቆፈረው እሱ ነው። የመንደሩ ሴቶች «የሥራ ባልደረባ ማለት እንዲህ ነው፤ ከወንድም ይበልጣል» ይላሉ። ቀለሟ ይህን በሰማች ቁጥር ታለቅሳለች። ያዩዋት ሁሉ ለአያና ብቻ የምታለቅስ መስሏቸዋል፤ የእንባዋ ግማሽ ግን የንዴት ነበር። አጎቷ ኦቦ ቱፋ ከገሰራ በበቅሎ መጥተው አጠገቧ ተቀምጠዋል። «ጀባዱ፣ ኢንታላ ኮ፤ በርቺ ልጄ» ይሏታል። እሷ የምትበረታው ለሌላ ጉዳይ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከሮቤ ገበያ በስተጀርባ ያለ አንድ የተወረሰ ወፍጮ ቤት ለሦስት ጀማሪዎች በጋራ ሲሰጥ ነው። ለእያንዳንዳቸው የሚሆን ቤትም ዕቃም አልነበረም። ስለዚህ የአውራጃው ሰዎች «ላቦራቶሪውን ተጋሩት፤ ሙከራው ፍሬ የያዘለት የራሱን ቤት ያገኛል» አሏቸው። የተሰጣቸው አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ በላምባ የሚሠራ ማቀዝቀዣ፣ ዕቃ የሚቀቀልበት አንድ የእንፋሎት በርሜልና አንድ ረጅም ጠረጴዛ ነው። በየነ የከብት ክትባት ይሞክራል። የጊኒሩ ዘይነዲን አይብ ደሎ መና ቆላ ድረስ ሳይበላሽ እንዲደርስ ብሎ የወተት እርሾ ያረባል። አያና ደግሞ በባቄላ ሥር ላይ የሚኖሩትን፣ ለአፈሩ ማዳበሪያ የሚሠሩትን ጀርሞች ያረባል። ቀለሟ የሦስቱንም ጠርሙስ ታጥባለች፤ የበርሜሉንም እሳት የምታነድ እሷ ናት።

«እኔም ገበሬ ነኝ» ይል ነበር አያና፤ «ብቻ ከብቶቼ በዓይን አይታዩም።» ባቄላ ነቅሎ ከሥሩ ላይ ያለችውን እባጭ በጥፍሩ ይፈርጣትና ውስጧ ቀላ ብሎ ካገኘው እንደ ልጅ ይዘላል። «አየሽ፣ እትዬ? ደም አላት! እየሠራች ነው!» መልአክ ግን አልነበረም። የጋራውን አልኮል ይደብቃል፤ የዘይነዲንን የበርሜል ተራ በቀልድ ይነጥቃል፤ ሲቆጡት «ባቄላዬ አብቧል፤ አበባ ተራ አያውቅም» ይላቸዋል።

አንድ ሕግ ብቻ ጥሶ አያውቅም። በየነ የከብት በሽታ ያለበትን ጠርሙስ በሚከፍትበት ቀን ቀይ ጨርቅ ከሳጥኑ አውጥቶ በበሩ ምስማር ላይ ይሰቅላል። ጨርቁ ከተሰቀለ ማንም አይገባም፤ ውስጥ ያለውም ጠረጴዛውንና እጁን በበረኪና ሳያጥብ አይወጣም። ጨርቁ ከአሮጌ የሜይ ዴይ መፈክር የተቀደደ ነበር። አያና ተሰቅሎ ሲያየው ቀርቦ ሁለቴ ጎተት ያደርገዋል፣ እንዳይወድቅ። «ይቺ ምስማር ከዘበኛ ትበልጣለች» ብሎም ወደ ባቄላ ማሳው ይመለሳል።

ያን ሐሙስ ጨርቁ አልነበረም። አያና ባዶውን ምስማር አይቶ ገባ፤ እሾህ የጫረውን እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ዘሩን ሲለይ ዋለ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ጠዋት በየነ በአባ ሰንጋ የሞተች የገሰራ ላም ደም ከፍቶ፣ በወጉ ሳያጥበው ወጥቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የእጁ አንጓ ላይ ቁስል ወጣ። አያምም፣ ያሳክካል፤ መሐሉ ግን እንደ ከሰል ጠቆረ። አያና ለበየነ አሳየው። ቀለሟ ጠርሙስ እያጠበች የበየነን ፊት አይታለች፤ አመድ መሰለ። ከዚያ «የማሳ እሾህ ነው፤ ቅቤ ቀባው» አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አባ ሰንጋን ከሮቤ ሰው ሁሉ አብልጦ የሚያውቀው እሱ ነው። በጊዜ ቢናገር አያና ፔኒሲሊን ተወግቶ ይድን ነበር። ግን ከተናገረ ላቦራቶሪው ይዘጋል፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ደርሷል፤ ለበዓሉ ውጤት ላሳየ ቤት ይሰጣል ተብሏል። አራት ቀን ዝም አለ። በአምስተኛው ክንዱ እስከ ትከሻው አብጦ በጭነት መኪና ወደ ጎባ ይዘውት ሲሄዱ፣ ገና መንገድ ላይ፣ ራሱን በቀለሟ ጭን ላይ እንዳደረገ አረፈ።

የላሟን ነገር የነገራት ዘይነዲን ነው። ከቀብር መልስ በበየነ መደርደሪያ ላይ ጠርሙሱን አይቶ መጣ። «አባ ሰንጋ የሚል ተጽፎበታል፤ ሐሙስ የሚልም። ወላሂ እትዬ፣ ባውቅ ኖሮ በጀርባዬ ተሸክሜ ጎባ አደርሰው ነበር» ብሎ አለቀሰ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ይህኛው ግን ሳይረሳ ነው ንፍሮ የሚበላው።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ቱሉ ሁለት ታጣቂዎች አስከትሎ ለቅሶ ደረሰ። እግዚአብሔር ያጥናሽ አላላትም፤ «በርቺ» ብቻ አላትና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ወሬው ደርሶኛል። አንድ ቃል ይበቃኛል። ሆን ብሎ ነው በይኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኛ ሥራ ነው።»

«የእኛ ሥራ» ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን የማያውቅ አልነበረም። የተወሰደ ሰው አይመለስም፤ እናቱም የት እንደወደቀ አትጠይቅም። ቃሏ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ቀለሟ መልሳ ዋጠቻት። አዝናለት አይደለም። ወስደው ቢገድሉት ዝም እንዳለ ይሞታል፤ እሷ ደግሞ በገዛ አፉ ሲለው መስማት ፈለገች፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ባቄላውን በበላበት ድንኳን። ከዚያ ይውሰዱት።

«በሰባተኛው ቀን ይምጡ፣ ጓድ» አለችው። «ከፊት ይቀመጡ።»

ለኦቦ ቱፋ ስትነግራቸው ከዘራቸውን መሬት ላይ ጫን አደረጉ። «ደም ያለበት ሰው ሳይናገር የሟች ቤት እህል አይቀምስም። ጉማ የሚባለው ለዚህ ነው። ገዳይ በአፉ ይናገራል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ሽማግሌ ያስታርቃል። ይህ ልጅ ግን ሦስት ቀን ሙሉ በላ።»

«እርቅ አልፈልግም፣ አጎቴ።»

«አንቺ የምትፈልጊውን አልጠየቅሁሽም፣ ኢንታላ ኮ። መጀመሪያ እሱ ይናገር።»

በማግስቱ በየነን ከጓሮ እንጨት ሲፈልጥ አገኘችው።

«በሰባቱ ትናገራለህ» አለችው።

«ምኑን፣ እትዬ?»

«ሐሙስን። የገሰራዋን ላም።»

መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ። «እናቴ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም» ብሎ ጀመረ።

«እኔስ ከእሱ ሌላ ማን ነበረኝ? አራት ቀን ሙሉ እጁን እያየህ ቅቤ ቀባው አልክ። አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ፤ የእኔ አነጋገር ደግሞ አያምርም።»

ትታው ገባች። ወንድሟ ከሞተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ንፍሮ ቀመሰች፤ ጣፈጣት። በሐዘን ቤት መጥገብ ነውር መሆኑን እያወቀች ሁለተኛ ዘገነች።

በአምስተኛው ቀን ዘይነዲን አጠገቧ ተቀምጦ በሹክሹክታ ያወራት ጀመር። «እኔን የሚገርመኝ ጨርቁ ነው፣ እትዬ። በየነ ፈሪ ነው፤ ጨርቁን ሳይሰቅል ጠርሙስ ከፍቶ አያውቅም። ረቡዕ ስወጣ ግን ምስማሩም ባዶ፣ ሳጥኑም ባዶ ነበር። ለበዓሉ አጣድፈውት ነው መሰል፣ ያለ ጨርቁ ከፈተ። ጨርቁስ የት ሄደ?»

ቀለሟ ጨርቁ የት እንዳለ ያን ጊዜ ትዝ አላት።

ከዚያ ሐሙስ ሁለት ቀን በፊት፣ ማክሰኞ ነበር። ጓድ ቱሉ ለበዓሉ ዝግጅት ሊጎበኝ መጥቶ ጨርቁን ከሳጥኑ አወጣው፤ የከብት ደምና የበረኪና ነጥብ ነበረበት። «የአብዮት ቀይ ጨርቅ እንዲህ ይቆሽሻል? ዛሬውኑ ይታጠብ!» ብሎ ቀለሟ ላይ ወረወረው። ቤት ወስዳ በሳሙና አጠበችው። ዝናቡ አላባራ አለና አልደረቀም። አጣጥፋ ልብስ ሣጥኗ ውስጥ አኖረችው፤ ነገ አሰጣዋለሁ ብላ። ከዚያ የበዓሉ ጠርሙስ እጥበት መጣ፤ ረሳችው።

ወደ ጓዳ ገብታ ሣጥኗን ከፈተች። ጨርቁ እዚያው ነበር፤ እርጥብ እንዳለ ታጥፎ ሻግቷል። አንስታ አሸተተችው። አያና በበሩ ላይ ቆሞ ባዶ ምስማር ሲያይ ታያት። ሌላም ነገር ትዝ አላት፤ ማክሰኞ ዕለት ጨርቁን ይዛ ስትወጣ በየነ በር ላይ ቆሞ ነበር። አይቷታል። በሰባቱ ቀን ጣቱን ወደ እሷ መቀሰር ይችላል።

ሣጥኑን ዘጋችው። ለማንም አልተናገረችም። በየነ ለምን ዝም እንዳለ ያን ጊዜ ገባት፤ መግባቱ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

በሰባተኛው ቀን ድንኳኑ ጢም አለ። ጓድ ቱሉ ከፊት ተቀመጠ፤ ታጣቂዎቹ ከመግቢያው ግራና ቀኝ ቆሙ። ቄሱ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ በየነ ሳይጠራ ብድግ አለ። ጋቢውን አውልቆ መሬት ላይ አኖረ።

«አያናን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ።

ድንኳኑ ውስጥ የሚያኝክ ሁሉ አቆመ። በየነ ላሟን ተናገረ፣ ጠረጴዛውን ተናገረ፣ ቁስሉን ተናገረ። «አውቄዋለሁ። ሳየው ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ላቦራቶሪው እንዳይዘጋብኝ፣ ቤቱ እንዳይቀርብኝ ብዬ አራት ቀን ዝም አልኩ። ሲሞትም ዝም አልኩ። ንፍሮውንም በላሁ።» ከሴቶቹ አንዷ ጮኸች፤ ሌሎቹ አስከትለው ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። ቀለሟ አላለቀሰችም። ሰባት ቀን የጠበቀችው ይህ ነው፤ ቃል በቃል ጠጣችው።

ኦቦ ቱፋ ከዘራቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኙ። «አንድ ነገር ቀረ። በሩ ላይ የሚሰቀል ጨርቅ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ያን ቀን የት ነበር?»

በየነ ወደ ቀለሟ ዞረ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። አሁን ይለዋል ብላ አንገቷን አቀናች።

«ሳጥኑ ውስጥ ነበር» አለ በየነ። «እኔ ነኝ ሳልሰቅለው የቀረሁት።»

ዘይነዲን ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ቀለሟን አየ፤ አንገቱን ደፋ።

«በቃ!» አለ ጓድ ቱሉ እየተነሣ። «ሰው ሁሉ ሰምቷል። ያዙት!» ታጣቂዎቹ በየነን ትከሻና ትከሻውን ያዙት።

የምትፈልገው ሁሉ ሆነላት። ግን በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት በየነን ጠልታው አታውቅም። ማን ማረኝ አለው? የሷን ጥፋት በራሱ ላይ ጭኖ ሊሞት ነው፤ እሷ ደግሞ ዕድሜ ልኳን የገዳዩ ባለ ዕዳ ሆና ልትኖር ነው። አያና ምስማሩን አምኖ ነው የገባው። ምስማሩን ያራቆተችው እሷ ናት፤ ይህን ከማንም ጋር አትካፈለውም።

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ጨርቁን ዘርግታ በጓድ ቱሉ ፊት ያዘችው።

«ያውቁታል፣ ጓድ?»

ሊቀመንበሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ማክሰኞ፣ ዛሬውኑ ይታጠብ ብለው የወረወሩብኝ ነው። አጠብኩት። አልደረቀልኝም። አጣጥፌ ሣጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩና ረሳሁት። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ሲፈልገው እኔ ቤት ይሻግት ነበር።» ወደ በየነ ዞረች። «አንተን አልማርኩህም። አራቱ ቀን ያንተ ነው፤ እስክሞት አልተውልህም። ይቺ ግን የእኔ ናት። አትውሰድብኝ።»

የሰው ዓይን ከቀለሟ ተነሥቶ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። ኦቦ ቱፋ እጃቸውን ወደ ወንበሩ ዘረጉ። «ይቀመጡ፣ ጓድ። ጉማው የሦስት ሰው ሆኗል።»

ታጣቂዎቹ አለቃቸውን አዩ። እሱ ደግሞ ጨርቁን ያይ ነበር።

ቀለሟ በሰው መሐል አልፋ ወደ ድንኳኑ መግቢያ ሄደች። በየነ ራሱ ፋኖስ እንዲሰቀልበት ብሎ ምሰሶው ላይ የመታት ምስማር ነበረች። ጨርቁን እሷ ላይ ሰቀለችው።

«ተሰቅሏል» አለ ዘይነዲን ቀስ ብሎ። «ሳይታጠብ የሚወጣ የለም።»

ጓድ ቱሉ ተቀመጠ። የታጣቂዎቹም እጅ ከበየነ ትከሻ ላይ ወረደ። ቀለሟ ጀርባዋን ለሁሉም እንደሰጠች የጨርቁን ጫፍ ያዘችና፣ አያና ያደርገው እንደነበረው፣ ሁለቴ ጎተት አደረገችው።