ዳሞቴ አትታረቅም

ሪሀና አብደላ ዳሞቴን የፈጠረቻት ወላይታ ሶዶ፣ ከአባቷ የጅምላ መደብር ጓዳ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጣ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስትጠብቅ ሁለተኛው ክረምት አልፏል፤ ዘመድ ሁሉ "አሁን ምን ልትሠሪ ነው?" ማለት ሰልችቶት "መቼ ነው የምታገቢው?" ወደ ማለት ዞሯል። እሷ ግን ደብተሯን ከፍታ የኮሚክ መጽሐፍ ትጽፋለች።

ዳሞቴ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የተወለደች፣ ሰው የማያውቀው ጉልበት የተሰጣት ልጅ ናት። ጎርፍ የሰበረውን ድልድይ በትከሻዋ ደግፋ አንድ አይሱዙ ሙሉ ሰው ታሻግራለች። ሪሀናን ያስጨነቃት ግን ድልድዩ አልነበረም። "ድልድይ ማንሳትማ ምን አላት" ትል ነበር፤ "ጭንቁ ከዚያ በኋላ ቤት ገብቶ እናት ፊት መቀመጡ ነው።" የዳሞቴ እናት የልጇን ጉልበት ትፈራዋለች፤ ካወቀች ወዲህ እጇን ነክታት አታውቅም። ታላቅ እህቷ ምስጢሯን ለመንደሩ አውጥታባታለች። የምትወደው አስተማሪ ደግሞ ይወዳታል፤ ግን ሰው ፊት ጀሪካን እንኳ በአንድ እጇ እንዳታነሳ ይለምናታል። እሷም "አንተ እንድትረዝም እኔ አላጥርም" ብላው ሄዳለች።

ሥዕሉ የቲቶ ነው። ቲቶ ወልደሰንበት የሱቅ ታፔላ ይጽፋል፤ አባቱ ከጉራጌ መጥተው ሶዶ የከተሙ አናጺ ናቸው። እሱና ሪሀና ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ያደጉ ናቸው። መጀመሪያ የሣላት ዳሞቴ ወገቧ እንደ ብርሌ አንገት የቀጠነ፣ ከንፈሯ የቀላ፣ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ነበረች። ሪሀና አየቻትና ሳቀች። ከዚያ ተናደደች።

"በዚህ ወገብ ነው ድልድይ የምትሸከመው? ንፋስ አይወስዳትም?"

"ሱፐር ሂሮ ሴት እንዲህ ነው የምትሣለው። የፈለግሽውን ኮሚክ ገልጠሽ እዪ።"

"እነሱ ሶዶን አያውቋትማ። አንተ ግን ታውቃታለህ።"

በነጋታው የገበያ ቀን ስለነበር እየጎተተች ወሰደችው። ከጉኑኖ በኩል የሚመጡ ሴቶች ቦዬ የሚባል ሥራ ሥር የሞላ ጆንያ አዝለው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ እየተሳሳቁ ዳገቱን ይወጣሉ። ቲቶ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እስከ እኩለ ቀን ሣለ። ከዚያ ወዲያ የዳሞቴ አንገት ወፈረ፣ ትከሻዋ ሰፋ፣ ተረከዟ ተሰነጠቀ። ቲቶ ራሱ አይቷት "አሁን ፈራኋት" አለ።

አርባ ስድስቱ ገጽ ሲያልቅ መጀመሪያ ያነበበችው ኢስራ ናት። ኢስራ የሪሀና ታላቅ እህት ናት፤ አባታቸው ከታመሙ ጀምሮ መደብሩን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ባንኮኒው ላይ ዘርግታ፣ ገጽ በገጽ፣ ሳትቸኩል አነበበች። ስትጨርስ ወረቀቶቹን አስተካክላ ለሪሀና መለሰችላት።

"ይቺ እህትየዋ እኔ ነኝ" አለች።

"ኧረ አይደለሽም። ልብ ወለድ እኮ ነው።"

"ሪሀና፣ እኔ ላይ አታሹፊ።"

 ሪሀና ዩኒቨርሲቲ ሳለች አንድ ልጅ እንደወደደች ለአባታቸው የተናገረችው ኢስራ ነበረች። ሁለቱ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

"ከታሪኩ አውጪው ካልሽኝ አወጣዋለሁ" አለች ሪሀና በመጨረሻ።

"ማን አውጪ አለሽ?" ኢስራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ስትናገር አፏን እንደከፈተች ሥላችኋታል። ለምን እንደተናገረች ግን አንዲት ቃል የላትም። እኔ አሥረኛ ክፍል ትቼ እዚህ ባንኮኒ ኋላ የቆምኩት አንቺ እንድትማሪ ነው። አንቺ ደግሞ ልጅ ወድጄ ትምህርቴን ልተው አልሽ። ዝም ልበል?"

"ቀንተሽ መስሎኝ ነበር።"

"ቀንቼም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱንም ጻፊ።"

ሪሀና ያን ቀን ወደ ጓዳ ተመልሳ ለእህትየዋ ሁለት ሙሉ ገጽ ጻፈች። እህትየዋ አትለምንም፣ አታለቅስም። ዳሞቴን ፊት ለፊት ቆማ "አንቺ ድልድይ ስትሸከሚ ይቺን ቤት ማን ተሸክሟት ነበር?" ትላታለች።  ቲቶ ሲሥለው ሁለቱን እኩል ቁመት ሰጣቸው።

መጽሐፉን ለማሳተም የተስማማው ለሴት ልጆች ትምህርት የሚሠራ አንድ ድርጅት ነበር። ሦስት ሺህ ቅጂ ታትሞ በዞኑ ላሉ ትምህርት ቤቶች ሊከፋፈል ታሰበ። የፕሮግራሙ ኃላፊ አቶ ሶርሳ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የቢጠና ከተማ ልጅ ናቸው፣ ሦስት ሴት ልጆች ያሳድጋሉ፣ የድልድዩን ገጽ ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሥተዋል። ሪሀናንና ቲቶን ቢሯቸው ጠርተው፣ የእህትየዋ ሁለት ገጾች ገና ያልተጨመሩባቸውን የቲቶን ዋናዎቹን ሥዕሎች ጠረጴዛቸው ላይ ደርድረው ጠበቋቸው።

"በጣም ግሩም ነው" አሉ። "አንዲት ትንሽ ኮሜንት ብቻ አለችኝ። መጨረሻው።"

"መጨረሻው ምን ሆነ?" አለች ሪሀና።

"ከእናቷ ተኳርፋ፣ ከእህቷ ተጣልታ፣ የሚወዳትን ሰው ጥላ። እንዲህ ሆና ታልቃለች? ልጆቹ ምን ይማራሉ? እናትየዋ አልቅሳ ትቀፋት፣ እህትየዋ ወድቃ ይቅርታ ትጠይቃት፣ አስተማሪውን ታግባውና በሠርግ ይለቅ። ሰው ደስ ብሎት ይዘጋዋል።"

"አቶ ሶርሳ፣ ወንድ ጀግና ቢሆን ከእናቱ ይታረቅ ይሉኝ ነበር?"

አቶ ሶርሳ ሳቁ። "የወንድ ጀግና እናት እኮ ገና መጀመሪያው ገጽ ላይ ነው የምትሞተው።"

"እኔ ግን አልገደልኳትም" አለች ሪሀና። "በሕይወት አለች። በሕይወት ያለች እናት ትጣላለች።"

ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። እስከ ሐሙስ አስቡበት ብለው ሸኟቸው።

ባጃጅ ውስጥ ቲቶ ጉልበቱን እያየ ተቀመጠ። እናቱ "የልጄ ስም ሊታተም ነው" ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራለች።

"ሦስት ሺህ ልጅ ነው የሚያነበው፣ ሪሁ" አለ። "አንድ ሠርግ ብሥል ምን አለበት?"

"ሣለው እስቲ። ክንዷን የት እንደምታደርገው አያለሁ።"

በእልህ የተናገረችው ነበር። ቲቶ ግን የምሩን ሞከረ። ሁለት ቀን ከአባቱ የእንጨት ሥራ ቤት ሳይወጣ ቬሎ ሣለ። ክንዷን እንዳለ ቢያደርገው ሙሽራው ከጎኗ ሕፃን መሰለ። ሙሽራውን ቢያሳድገው ከበሩ የማያልፍ ግንድ ሆነ። ክንዷን ሲያቀጥነው ያኔ ሁሉም ነገር ልክ ገባ፤ ሥዕሉ አማረ፤ ሴትዮዋ ግን የማንም ሠርግ ላይ የምትገኝ ማንም ሴት ሆነች። አባቱ በትከሻው ላይ አጎንብሰው አዩና "ያቺ የምትሸከመዋ ልጅ የት ሄደች?" አሉት። ቲቶ ወረቀቱን ቀደደው።

ሐሙስ ዕለት አቶ ሶርሳ ሻይ አዘዙላቸው። ሪሀና አልነካችውም።

"አስበንበታል" አለች። "የእህትየዋን ገጾች ጨምረናል፤ ነገሩ ብሷል እንጂ አልተሻለውም። ዳሞቴ አትታረቅም። አታገባም። ይህን ካተማችሁ ደስ ይለናል።"

"ልጄ፣ እኔም እኮ አለቃ አለብኝ" አሉ አቶ ሶርሳ። "እሺ ካላላችሁ ሌላ ጸሐፊ ያስተካክለዋል። ሥዕሉ እንደሆነ እዚሁ አለ።"

ሪሀና ሻዩን ከፊቷ ገፋችው። የተነሣው ቲቶ ነበር። ከትልቅ ሰው ጋር ተሟግቶ የማያውቀው ቲቶ፣ አርባ ስድስቱን ወረቀት አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። አንዱ ላይ የሻይ ስኒ ተቀምጦበት ነበር፤ ስኒውን አንሥቶ አቶ ሶርሳ እጅ ላይ አስቀመጠላቸው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ" አለ። "ውል አልፈረምንም። ሠርጉንም ሞክሬው ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።"

ከቢሮው ወጥተው ደረጃው ላይ ሲደርሱ ቲቶ ተቀመጠ። "እናቴን ምን እላታለሁ?" አለ። ሪሀና አጠገቡ ተቀመጠች።

ጉኑኖ አካባቢ የምታስተምረው ንግሥቲ፣ የሪሀና የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ፣ ነገሩን ስትሰማ "ለእኔ ተማሪዎች አምጡላቸው" አለች። ፎቶ ኮፒ አስነሥተው አሥራ ሁለት ቅጂ አወጡ። ጥቁሩ ግራጫ ሆነ፣ ጠርዙ ተቆረጠ። ኢስራ በጆንያ መስፊያ መርፌ ጀርባቸውን ሰፋቻቸው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ደንበኛ እያስተናገደች፣ ጣቷን እየወጋች። በአራተኛው ቀን መደብሩን በሥራ ቀን ዘግታ "እኔም እሄዳለሁ" አለች።

የስምንተኛ ክፍል ልጃገረዶች አምስት አምስት ሆነው አንድ ቅጂ ላይ ተደፉ። ሪሀና ጥቁር ሰሌዳው ጎን ቆማ ፊታቸውን ታያለች።  መጀመሪያ በወላይትኛ ሹክሹክታ ተነሣ፤ ከዚያ ክርክሩ ፈነዳ።

"እህቷ ክፉ ናት! ምስጢር ያወጣል ሰው?" አለች አንዷ።

"አንቺ ታናሽ ስለሆንሽ ነው" ብላ ተነሣች ቤተልሔም የምትባል ቀጭን ልጅ። "እኔ ስድስት ታናናሾቼን ነው የማሳድገው። እህቷ ልክ ናት።"

"አስተማሪውንስ ለምን ተወችው? ይወዳታል እኮ!"

"ጀሪካን አታንሺ የሚል ባል ውኃውን ራሱ ይቀዳል?"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ጫጫታውን ሰምተው የገቡት ምክትል ርዕሰ መምህር ትንሽ አዳመጡና ወደ ሪሀና ዞሩ። "የታሪኩ ትምህርት ምንድን ነው? ልጆቹ እንዲይዙት በአጭሩ ንገሪያቸው።"

"ትምህርት የለውም፣ ጋሼ" አለች ሪሀና። "ጠቡ ገና አላለቀም።"

ሰውዬው ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ ግን ቀጥሎ የሚናገሩትን ማንም አልሰማቸውም። ልጆቹ ወደ ክርክራቸው ተመልሰዋል። ቤተልሔም በሩ አጠገብ ወንበር ላይ የተቀመጠችውን ኢስራን አየቻት፤ ቅጂዋን እንደያዘች ቀረበቻት።

"እትዬ፣ አንቺስ ማነሽ?"

"እህቷ ነኝ።"

"የዳሞቴ?"

ኢስራ ሪሀናን ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ወንበሯ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች።

"አዎ" አለች። "የተናገርኩት እኔ ነኝ። ነይ ተቀመጪ፣ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።"