የሁለት በጋ እንጨት

ኦሎ የሞተው በድኩላ ነው። አንድ ድኩላ ላይ ሁለት ፍላጻ ተተክሎ ተገኘ፤ አንዱ የኦሎ፣ ሌላው የሲኪሬ። «የጣለው የኔ ነው»፣ «የለም፣ የኔ ነው» ተባባሉ። ሲኪሬ ቃል ሲያጥረው ደጋኑን ወጠረና ሦስተኛውን ፍላጻ ኦሎ ሆድ ውስጥ ሰካው። ልጁ ፍላጻውን በሁለት እጁ እንደያዘ ከጫካው እስከ እናቱ ደጃፍ መጣ። የፍላጻው መርዝ እስከዚያ ታግሶት ጣለው።

«እማ፣ ድኩላው የኔ ነበር» አለ፤ አረፋ ደፈቀ፤ ሞተ።

እናቱ ሚሂንቴ አላለቀሰችም። ፍላጻውን ነቅላ፣ ጠርጋ፣ የግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ሰካችውና ወንድሟን አስጠራች። በዲፒሪ መንደር የልጅ ደም የሚመልሰው የእናት ወንድም ነው። እሷ ደግሞ ከቢንዱቴ ሌላ ወንድም የላትም፤ እሱም ከእሷ ሌላ እህት የለውም።

በአሮጌ ደጋን ደም አይመለስም። ተበቃዩ አዲስ እንጨት ይቆርጣል፤ ገዳዩም የምሳሩን ድምፅ እንዲሰማ በጠራራ ፀሐይ ይቆርጣል። እንጨቱ በሟቹ እናት ቤት ቆጥ ላይ ተሰቅሎ ሁለት በጋ ይደርቃል። እስከዚያ ገዳዩ በፈለገው መንገድ ይሄዳል፤ እንጨቱ ሳይደርቅ እሱን የገደለ ሰው ራሱ ገዳይ ተብሎ ይባረራል። ሽማግሌዎቹ ይህ ሁሉ ለእንጨቱ ጥንካሬ ነው ይላሉ። ውሸታቸውን ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ቁጣም አብሮ እንዲደርቅ ነው። በየቤቱ ቆጥ ላይ ጥቀርሻ የጠጣ፣ ደጋን ሳይሆን ያረጀ እንጨት ሞልቷል፤ ሴቶች ሥጋ ያሰጡበታል።

ሚሂንቴ በልጇ እንጨት ላይ ሥጋ ላታሰጣ ማለች።

ቅጠል እንደረገፈ እህትና ወንድም ወጡ። ቢንዱቴ ወንዝ ዳር አንድ ቀጥ ያለ ዛፍ ሲያይ ቆመ።

«ይሄስ? እንደ ሸምበቆ ቀጥ ያለ።»

«ውሃ እየጠጣ የወፈረ ነው፤ እንዳንተ። ገና ሳትስበው ያጎነብሳል።»

«እታለም፣ ደጋኑን የምስበው እኔ መሰልኩሽ።»

«የምትስበው አንተ፣ የምታውቀው እኔ። ውጣ ወደ ላይ!»

አባታቸው ደጋን ሠሪ ነበር። ወንድ ልጁን መሳብ ሲያስተምር ሴት ልጁን እንጨት አስጠበቃት። የቆጡን እንጨት ስታገላብጥ ያደገችው እሷ ናት፤ ስለ እንጨት ቢንዱቴ ተከራክሮ ያሸነፋት ቀን የለም። ኮረብታው ላይ፣ በድንጋይ መሃል ተርቦ ያደገ ዛፍ አገኘች፤ ውፍረቱ እንደ ባቷ፣ እስከ ሰው ቁመት አንድ አንጓ የሌለበት። ቅርፊቱን በመዳፏ ከታች ወደ ላይ ዳሰሰችው። ቅርፊቱ የተጠማዘዘ እንጨት ልቡም ጠማማ ነው። የዚህ ቀጥ ያለ ነበር።

«ይሄ ነው።»

ምሳሩ ሲያርፍ ኮረብታው ጮኸ። ታች መንደሩ ውስጥ ሲኪሬ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ወገቡን ይዞ አዳመጠ። ቢንዱቴ አይቶት ምሳሩን አጠንክሮ አሳረፈ።

ግንዱን በሽብልቅ ሰነጠቁት። ሚሂንቴ ሁለቱን ጫፎች የሺያ ፍሬ ቅቤ ቀባቻቸው፤ ጫፉ ከሆዱ ቀድሞ ከደረቀ እንጨት ይተረተራል። ከዚያ ከምድጃው ርቃ፣ ጢስ እንጂ ሙቀት የማይደርስበት ጥግ ላይ ሰቀለችው። እስከዚህ ድረስ አባቷ ቢያያት እንኳ የሚያወጣላት ነቀፋ አልነበረም።

የሁለተኛው ወር ገበያ ላይ ሲኪሬ የማሽላ ጠላ ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ነበር።

«ሚሂንቴ! እንጨቴ ደህና አደረ?»

«ደህና ነው። ጉበትህን ይጠይቃል።»

ሰው ሳቀ። ሲኪሬም ሳቀ፤ መሳቁ ነው ያናደዳት።

«ንገሪው እንግዲህ፣ ሁለት በጋ ረጅም ነው፤ ጉበቴ የትም አይሄድም። ትዕግሥት ከልጅሽ አትማሪ። እሱ እንኳ ሰው የገደለውን ድኩላ ሲያይ ምራቁን መዋጥ አቃተው!»

የያዘችው ማሰሮ ግንባሩ ላይ ተሰባበረ። ሲኪሬ ደሙ ዓይኑን ሞላው፤ በዳበሳ አንገቷን አገኘና በክርኑ አፏን መታት። መሬት ላይ ተያይዘው ሲንከባለሉ ጆሮውን ነከሰችው፤ እሱ ጭንቅላቷን ከድንጋይ ጋር አጋጨው። አራት ሰው ነው ያላቀቃቸው። ሚሂንቴ ሁለት ጥርስና አንድ ቁራጭ ጆሮ አንድ ላይ ተፋች።

ቤቷ ስትገባ አፏን አልታጠበችም። እንጨቱን ከጥጉ አውርዳ ከእሳቱ በላይ ሰቀለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምድጃዋ አልጠፋም። ለአንድ ሰው ሁለት ድስት ትጥዳለች፤ የሚበላ ሲጠፋ ውሃ ታፈላለች።

«ይሄ ሁሉ ገንፎ ለማን ነው?» አላት ቢንዱቴ ከደጅ ሆኖ።

«ለአንተ። ብላና ዝም በል።»

በላና ዝም አለ። ቀና ብሎ ቆጡን አላየም፤ እንጨት የእሷ ነገር ነው።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከላይ «ጠቅ» የሚል ሰማች። ቅማል በጥፍር ሲገደል የሚያሰማው ዓይነት፣ ከዚያ ያልበለጠ ድምፅ ነው። አወረደችው። መሃሉ ላይ፣ እጅ የሚጨብጠው ቦታ አጠገብ፣ የፀጉር ያህል የቀጠነ፣ ርዝመቱ ጣት የሚያህል ስንጥቅ አየች። አባቷ እንዲህ ያለውን እንጨት ያለ አንድ ቃል እሳት ውስጥ ይወረውረው ነበር። ሚሂንቴም ወደ እሳቱ ዘረጋችው። ያ የገበያ ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ሁለት በጋ እንደ አዲስ ትጠብቅ? እጇን መለሰች። የሺያ ቅቤና ጥቀርሻ በጣቷ ለወሰችና ስንጥቁ ውስጥ እየጫነች አሸችው። ፀጉር ያከለው መስመር ጠፋ።

ዝናብ ሳይጥል የመሬቱን ሕግ የሚጠብቁት ሽማግሌ ፓሌ ተጠርተው መጡ። እንጨቱን ጉንጫቸው ላይ ለጠፉት፤ እርጥብ እንጨት ጉንጭ ያቀዘቅዛል።

«ደርቋል» አሉ ገርሟቸው። «በአንድ በጋ?»

«ነፋሱ ከባድ ነበር፣ አያ ፓሌ።»

በጣታቸው አንጓ መቱት፤ ጆሯቸውን አስጠጉ፤ እንደገና መቱት።

«ታስላለች ይቺ እንጨት።»

«ጢስ ነው። እኔም እስላለሁ።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት። «ሕጉ የሚጠይቀኝ በጋ ቆጥሮ ሳይሆን ደረቀ ወይስ አልደረቀም ብሎ ነው። ደርቋል። ሌላውን የሰቀለችው ታውቃለች።»

አጠገባቸው የቆመው ቢንዱቴ ወደ እህቱ ዞረ። «እታለም፣ ደርሷል?»

እንደ ልጅ ነው የጠየቃት። አፏ ውስጥ ሁለቱ ጥርሶች የነበሩበትን ባዶ ቦታ በምላሷ ነካች።

«ደርሷል» አለች።

ደጋኑ በአራት ቀን ተጠረበ፤ የቆዳ ገመድ ተወጠረለት። በአምስተኛው ጠዋት ሲኪሬ ተጠራ። ሌላ አንድ በጋ አለኝ ብሎ የተኛ ሰው፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ የራሱን ደጋን ይዞ ማሽላው ወደታጨደበት ሜዳ ወጣ። ስልሳ እርምጃ ተራራቁ። የመጀመሪያው የተበቃዩ ነው።

ቢንዱቴ ፍላጻውን ደገነ፤ ገመዱን እስከ ጆሮው ሳበ። ሚሂንቴ የሲኪሬን ሆድ ብቻ እያየች ነበር።

ደጋኑ እንደ አጥንት ጮኾ ለሁለት ተሰበረ። የላይኛው ክንፍ ተስፈንጥሮ የቢንዱቴን ግራ ዓይን አፈሰሰው፤ ፍላጻው እግሩ ሥር ወደቀ። በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። ስልሳ እርምጃ ርቆ ሲኪሬ መትረፉን ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደበት፤ ከዚያ ሳበና ለቀቀ። ፍላጻው የቢንዱቴ ደረት ላይ ተተከለ።

ቢንዱቴ ወዲያው አልወደቀም። እጁ ላይ የቀረውን ስባሪ ወደ ደህናው ዓይኑ አስጠጋ። የስብራቱ አፍ ውስጥ፣ በነጩ እንጨት መሃል፣ ጥቁር መስመር ነበር፤ በጣቱ ነካው፤ ጣቱ በቅቤ ወዛ። እሱም የደጋን ሠሪ ልጅ ነው። ቀና ብሎ እህቱን አያት። እንዳያት ወደቀ።

ሚሂንቴ ስባሪውን ከእጁ ነጥቃ ሮጠች። ሲኪሬ ሁለተኛ ፍላጻ ሳያወጣ ደረሰችበትና የሾለውን ጫፍ ጉንጩ ውስጥ ሰደደችው፤ በጥርሱ መሃል አልፎ በአፉ ወጣ። አጓርቶ በደጋኑ ጀርባ ማጅራቷን መታት፤ ስትወድቅ ጎድኗን እየደጋገመ ረገጣት፤ እግሩን አንገቷ ላይ አሳረፈ።

«በቃ!» አሉ ፓሌ በመካከል ገብተው። «የሁለቱም ተራ አልፏል። እግርህን አንሳ!»

ሲኪሬ ስባሪውን ከጉንጩ መዝዞ ደም ተፋባት። «እንግዲህ ማን ይቁረጥላችሁ? ወንድ የላችሁም!»

ቢንዱቴ ከኦሎ አጠገብ ተቀበረ። ዝናቡ መጣ፤ ማሽላው በቀለ፤ ታጨደ። ቅጠል በረገፈ ማግስት ሚሂንቴ የወንድሟን ምሳር ተሸክማ ኮረብታው ላይ ወጣች። በዲፒሪ ሴት የደም እንጨት አትቆርጥም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ሄዶ የሚነግራት ግን አልተገኘም። ሁለት ቀን ሙሉ ቆረጠች። ሲኪሬ ጣሪያው ላይ ወጥቶ፣ የተጣመመ አፉን በእጁ ሸፍኖ አዳመጠ።

በሳምንቱ ደጇ ላይ መጥቶ ቆመ። ፓሌን ጠይቆ እንደመጣ ያስታውቃል፤ ሕጉ ሴትን በስም እንደማይከለክል ተነግሮታል።

«ሴት ደጋን አትስብም» አለ።

«እስኪደርቅ እማራለሁ።»

አሻግሮ ወደ ውስጥ አየ። እንጨቱ ሩቁ ጥግ ላይ ተሰቅሏል፤ ጫፎቹ በቅቤ ያብረቀርቃሉ። ምድጃው ላይ ከአንዲት ፍም በቀር ምንም የለም።

«እሳትሽ ሊጠፋ ነው።»

«አይጠፋም። ሂድ አሁን፤ ነፋሱን ከለከልከው።»

ከዚያ ወዲህ ሚሂንቴ ገንፎዋን ቀዝቃዛውን ትበላለች።