ወደ ቾኬኪራው አንዲት ቦታ

አባቷ አቶ ወልደየስ «የትነበርሽ» ብለው ሲሰይሟት ምን አስበው እንደነበር ሳይነግሯት ሞቱ። ስሟ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ሲጠይቃት ኖሯል፤ መልሷም ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ነው፤ ሥራ። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሆላንድ ሀገር፣ ዴንሃግ ከተማ ውስጥ፣ ላክ በሚባለው ሰፈር ከልጇ ከቢታንያ ጋር ትኖራለች። በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች። ከሀገሯ የወጣችው ሸሽታ ነው። ከካምፕ ካምፕ የዞረችው ተልካ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሀገሯ የተመለሰችው ለቀብር ነው። መሄድ ስላማራት ብቻ የሄደችበት ቦታ አንድም የለም።

እግሯ ግን አያርፍም። ከሥራ ስትወጣ ትራሙን ትታ በእግሯ ትመጣለች፤ ደርሳም ደስ ስለማይላት ሰፈሩን አንዴ ትዞረዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ቦታዋ የእግር ጉዞ ማኅበር ጋር ባሕሩ ዳር ያሉትን የስኬቬኒንገንን የአሸዋ ጉብታዎች ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ጉብታ ማለታችን ለሆላንዶቹ ክብር ስንል ነው እንጂ፣ የእሷ ሀገር ሰው ቢያየው ማን እዚህ አሸዋ ደፋ ብሎ ነው የሚጠይቀው።

የማኅበሩ መሪ ማርይከ የምትባል ነርስ ናት። በጥር ወር ማርይከ በሠራተኞቹ ሻይ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ለጠፈች። ፔሩ ውስጥ የጥንቶቹ ኢንካዎች የሠሩት፣ ዛሬ ፍርስራሹ የቀረ ከተማ ነው፤ ስሙ ቾኬኪራው። ማኅበሩ ወደዚያ ያሰበው ጉዞ አምስት ቀን ነው፤ መንገድ መሪ አለ፣ ዕቃውን በቅሎ ይጭናል። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ወደ አንድ ገደል ግርጌ ይወረዳል። ወንዙን ተሻግሮ፣ በማግስቱ ያን የወረዱትን ያህል ሽቅብ ይወጣል። በሦስተኛው ቀን ከተማው ውስጥ ይዋላል፤ ቀሪዎቹ ሁለት ቀናት የመመለሻ ናቸው። በፎቶው ላይ፣ ቁልቁለቱን ተከትሎ በተደረደረው የእርከን ግንብ ውስጥ፣ በነጭ ድንጋይ የተሠሩ እንስሳት ይታያሉ፤ ላማ ነው የሚሏቸው፣ አንገታቸው ረጅም፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ። ከፎቶው ሥር ደግሞ «መኪና አይገባም፣ ባቡር የለም፤ በእግር ብቻ» ተብሎ ተጽፏል። የትነበርሽን የያዛት ይቺ ናት። አራት ወር ሙሉ ሻይዋን የጠጣችው ፊቷን ወደዚያ ግድግዳ አዙራ ነው።

የነበረው ቦታ አሥራ ሁለት ነው። በግንቦት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ማርይከ ስም ዝርዝሯን ይዛ ሻይ ክፍል ገባች። አሥራ አንዱ ሞልቷል።

«ዬት» አለቻት፤ ሙሉ ስሟን መጥራት ካቃታት ቆይቷል። «አንድ ቦታ አለ። ትመጫለሽ?»

የትነበርሽ ልቧ ዘለለ። ይህን ጥያቄ በሕልሟ ሳይቀር ስትመልሰው ከርማለች። ከአፏ የወጣው ግን ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

«አይ፣ እኔ ይቅርብኝ። ለሌላ ሰው ይሁን።»

እሷ ባደገችበት ቤት ይሄ እምቢታ አይደለም። ጉሮሮ መጥረግ ነው። ጋባዧ «ኧረ በሞቴ!» ትላለች፤ ተጋባዧ «አይ፣ ግድ የለም» ትላለች፤ ለሦስተኛ ጊዜ ክንዷን ይዞ የሚጎትታት ሲመጣ ያኔ «እንግዲህ ካላችሁ» ብላ ትነሳለች። በመጀመሪያው ጥሪ የሚነሳ ሰው ሆዳም ነው የሚባለው። የትነበርሽ ሁለተኛውን እየጠበቀች ፈገግ አለች።

«ያመር» አለች ማርይከ፤ ያሳዝናል ማለቷ ነው። ዝርዝሯን እንደያዘች፣ መሰላል ላይ ቆመው አምፖል ወደሚቀይሩት ወደ ጋሽ ዘርኣይ ዞረች። «ዘርኣይ፣ አንተስ?»

«ያ!» አሉ ጋሽ ዘርኣይ፣ ከመሰላሉ እንኳ ሳይወርዱ። «ያ» በሆላንድኛ አዎ ነው።

ጋሽ ዘርኣይ የመኖሪያው ጠጋኝ ናቸው፤ የሚንጠባጠብ ቧንቧና የተሰነጠቀ በር የእሳቸው ነው። ኤርትራዊ ናቸው፣ አዲስ አበባ ተምረው ያደጉ፣ ስድሳ አራት ዓመት የሞላቸው፣ አማርኛቸው ከእሷ የሚጣፍጥ። እዚህ ሀገር አርባ ዓመት ኖረዋል። አርባ ዓመት የኖረ ሰው እንግዲህ መቼ «ያ» እንደሚባል ያውቃል።

ማታ ለቢታንያ ስትነግራት ልጅቷ ከስልኳ ቀና አለች።

«ማማ፣ ጠየቀችሽ፣ አንቺ ኔ አልሽ። ኔ ኢስ ኔ፣ እምቢ እምቢ ነው! ምን ታድርግሽ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ እኮ ነው የጠየቀችኝ!»

«ስንቴ ትጠይቅሽ? ዚ ኢስ ቶኽ ኸክ፣ እብድ ናት እንዴ?»

የትነበርሽ ተናደደች፤ የምትናደድበት ሰው ግን አጣች። ማርይከ ምን አጠፋች? ንዴቷ ማረፊያ ቢያጣ እግሯ ውስጥ ገባ። በዚያ ሳምንት የሆላንድስ ስፖር ባቡር ጣቢያን ደረጃ ያለ ምንም ጉዳይ ወጣች፣ ወረደች። የውስጥ እግሯን ይበላት ጀመር። የውስጥ እግር ሲበላ መንገድ አለ ይባላል፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አበሳጫት። በልቧም ማለች፤ ከእንግዲህ አንድ ሰው አንድ ነገር አንድ ጊዜ ካለኝ፣ ቃሉን ሳይጨርስ እሺ ነው የምለው።

መሐላው የተፈተነው በሳምንቱ ነው። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ጋሽ ዘርኣይ ማሽን ፈትተው ሲጠግኑ ደረሰች።

«ምን ሆነሻል? ሰሞኑን ፊትሽ ልክ አይደለም» አሏት።

ነገረቻቸው። ፎቶውን፣ አራቱን ወር፣ «ይቅርብኝ» ማለቷን። ጋሽ ዘርኣይ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው አለቀ።

«ታዲያ አንቺ ሂጂ» አሉ። «የኔን ቦታ ውሰጂው።»

«እሺ!» አለች የትነበርሽ።

አፋቸውን እንኳ አልገጠሙም ነበር። ብሎን መፍቻው እጃቸው ላይ ቀረ። «እሺ» አሉ እሳቸውም። «ጥሩ። ጥሩ ነው።» ወደ ማሽኑ ጎንበስ ብለው አሁን የፈቱትን ብሎን መልሰው አጠበቁት። የትነበርሽ አይታለች። ያየችውን ግን ማየት አልፈለገችም፤ ሮጣ ወደ ማርይከ ሄደች። ማርይከም አምስተርዳም ላለው አስጎብኚ ድርጅት ጻፈች፣ ስሙ ተቀየረ። «እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ መቀየር ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ይዘጋል» ብላ አስታወቀቻት።

ደስታ መሆን ነበረበት። ጫማ ገዛች። ቢታንያ «ማማዬ ተራራ ልትወጣ ነው» ብላ ለጓደኞቿ ሁሉ አወራች። የትነበርሽ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታት። ፎቶው ፊት ስትቀመጥ «ጥሩ። ጥሩ ነው» የሚለው ድምፅ ይመጣባታል፤ ጀርባዋን ለፎቶው ሰጥታ ሻይዋን መጠጣት ጀመረች። ጋሽ ዘርኣይ ለሰው ሁሉ ጉልበቴን አሞኛል ማለታቸውንም ሰማች። ጉልበታቸውን ካመማቸውማ የሰጡኝ ወደው ነው አለችና እፎይ ልትል ሞከረች። አልሆነላትም።

ዓርብ ደረሰ፤ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ለማመስገን ነው የምሄደው ብላ ራሷን አታልላ፣ አንድ ኬክ ይዛ፣ ከሆላንድስ ስፖር ባቡር ተሳፍራ ስኪዳም የምትባል ከተማ ወረደች። ጋሽ ዘርኣይ የሚኖሩት አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። በሊፍት ወጣች።

የከፈቱላት ባለቤታቸው እትዬ ዘቢብ ናቸው። በሩ ጥግ ጭቃ የነካው የተራራ ጫማ ተቀምጧል። ከጫማው በላይ ግድግዳው ላይ፣ በመስታወት የተሸፈነ የካርቶን ቁራጭ ተሰቅሏል፤ አረንጓዴ አቮካዶ ተስሎበት «ፔሩ» የሚል ጽሑፍ አለው።

«ይሄ ምንድነው?» አለች የትነበርሽ።

«እሱን ተይው» አሉ እትዬ ዘቢብ እየሳቁ። «አሁን ያለበት ሥራ ሳይገባ በፊት ሮተርዳም ወደብ ሃያ ሁለት ዓመት ዕቃ ሲያወርድ ነው የኖረው። መርከቡ ከፔሩ ይመጣል፣ እሱ አቮካዶውን ያወርዳል። አንድ ቀን ይሄ ነገር ከየት እንደሚመጣ ሄጄ አያለሁ ይለኝ ነበር። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ዕድሉ መጣ፤ ይኸው ደግሞ ጉልበቴን አሞኛል ይላል። ጉልበቱን ምንም አላመመውም፣ አንቺ ልጅ።»

የትነበርሽ ክው አለች። ኬኩን እንደያዘች ቆማ ሳለ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ዘርኣይ ናቸው፤ ላብ በላብ ሆነው፣ የጀርባ ቦርሳ ተሸክመው፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሲያዩዋት ደነገጡ።

«ሊፍቱ ተበላሽቶ...» አሉ።

የትነበርሽ በሊፍት መምጣቷን አልተናገረችም። ቦርሳውን ሲያወርዱት ወለሉ ላይ ጓ አለ፤ አፉ ተከፍቶ የሩዝ ከረጢት ይታያል። ጉዞውን ከሰጡ በኋላም ለልምምድ ደረጃውን መውጣት አልተዉም ነበር።

ተቀመጡ። ሰዓቱ አሥር ከሩብ ነው። ኬኩ ተቆረሰ፤ ማንም አልነካውም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይሂዱ» አለች የትነበርሽ። «ቦታው የእርስዎ ነው።»

«በፍጹም! የሰጠሁትን አልቀበልም።»

«በሞቴ፣ ይሂዱ።»

«ተይ እንጂ፣ ልጄ። አለቀ እኮ ይሄ ነገር።»

ሁለት ሆነ። የትነበርሽ ታውቃለች፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ዓይናቸው አፏ ላይ ነው። ሦስተኛውን ካላለች፣ ሁለቴ ለምና እምቢ ተብላለች፤ ማንም አይወቅሳትም፤ ከአርባ አምስት ደቂቃ በኋላ ዝርዝሩ ይዘጋል፣ እሷም ትሄዳለች። እነዚያ ነጫጭ እንስሳት ፊቷ ድቅን አሉባት። አልዋሽም፣ ዝም ልትል ነበር። ኬኳን ቆረሰች፤ ወደ አፏ ስታነሳ በሩ ጥግ ያለውን ጭቃ የነካው ጫማ አየችና መልሳ አስቀመጠችው። ሦስተኛውን በአማርኛ ብትልም ሰውዬው ይሉኝታ ይዟቸው አራተኛ፣ አምስተኛ ያስለምኗታል፤ አሥራ አንድ ሰዓት እስኪሞላ ሲገባበዙ ይውላሉ።

ስለዚህ በሆላንድኛ ጠየቀቻቸው። «ዘርኣይ፣ መሄድ ትፈልጋለህ? ያ ወይስ ኔ?»

እትዬ ዘቢብ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጋሽ ዘርኣይ ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሱም።

«ያ» አሉ።

መሰላሉ ላይ ሆነው ያሉትን ያችኑ «ያ»። ከዚያ ቀና ብለው፣ እሳቸውም በሆላንድኛ «አንቺስ?» አሏት።

«ያ» አለች የትነበርሽ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት «ያ» አለ፤ ቦታው አንድ ነው።

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?» አሉ ጋሽ ዘርኣይ ወደ አማርኛቸው ተመልሰው። «ሰጥቼሽ የለም እንዴ!»

«አልሰጡኝም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

ስልኳን አወጣችና ማርይከ ዘንድ ደወለች። ስሙ ወደ ዘርኣይ ይመለስ አለች። ማርይከ «እርግጠኛ ነሽ?» ብላ አንድ ጊዜ ጠየቀች፤ እንደ ሀገሯ ወግ። «አዎ» አለቻት። ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ፤ ስልኩን መዝጋት ነበረባት። አልዘጋችም።

«ማርይከ» አለች፣ «እኔም መሄድ እፈልጋለሁ።»

ማንም አልጠየቃትም። አርባ ዘጠኝ ዓመት ኖራ፣ ማንም ሳይጠይቃት «እፈልጋለሁ» ስትል የመጀመሪያዋ ነበር፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ኔ አልሽ?»

«ዋሽቼ ነው።»

ማርይከ ሳቀች። የተጠባባቂ ዝርዝር እንዳለ፣ እሷን አንደኛ እንደምታደርጋት፣ የሚቀር ሰው ከተገኘ እንደምትደውልላት ነገረቻት። የሚቀር ሰው እንደማይገኝ የትነበርሽ ልቧ ያውቃል፤ ሆላንዶች በቃላቸው የሚገኙ ሰዎች ናቸው። ቢሆንም አመሰገነች።

ልትወጣ ስትነሳ ጋሽ ዘርኣይ ቦርሳውን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው በሩ ላይ ጠበቋት።

«አሥራ ሁለት ኪሎ ነው» አሉ። «ተጠባባቂም ቢሆን መለማመድ አለበት። ውሰጂው።»

«አይ፣ ይተዉት» ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። ዞር ብላ ጀርባዋን ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም እንደ ልጅ አሸክመው ማንገቻዎቹን አጠበቁላት። ካሰበችው በላይ ከብዷታል።

እትዬ ዘቢብ ሊፍቱን ጠርተውላት ነበር። አልፋው የደረጃውን በር ከፈተች። አሥራ አንዱን ፎቅ ወርዳ ምድር ቤት ደረሰች። ወደ ቾኬኪራውም ሲኬድ መጀመሪያ መውረድ ነው። ትንሽ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ከዚያ ዞራ መውጣት ጀመረች።