የማጠፊያው ሐሙስ

ኔሪስ ትምህርቷን የምትከታተለው በበግና በላም መድኃኒት መሃል ተቀምጣ ነው። የእንስሳት ሕክምና ቤቱ የቢሮ ኃላፊ ናት። የምሳ ሰዓት ሲደርስ የመድኃኒት መጋዘኑን በር ትዘጋለች፤ ላፕቶፗን የትል መድኃኒት ካርቶን ላይ ታስቀምጥና ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ዲጂታል ሚዲያና ኮሙኒኬሽን ትማራለች። ዩኒቨርሲቲውን በዓይኗ አይታው አታውቅም። አስተማሪዋ ማርጎት እንግሊዝ ሆና ስለ አንባቢ ፍላጎት ስታስረዳ፣ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ገበሬ ስለ ላሙ ጡት ይጨቃጨቃል። ኔሪስ ሁለቱንም እኩል መስማት ለምዳለች።

«በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል?» ሲሏት «እማዬ ብትኖር ደስ ይላት ነበር» ትላለች። ይህ መልስ ጠያቂውን ሁሉ ዝም ያሰኘዋል፤ ደግሞም እውነት ነው።

እናቷ ኦልዌን በሕይወት ሳለች የብሪንግላስ መንደር ጋዜጣ ነፍስ ነበረች። ጋዜጣዋ «ሸለቆ» ትባላለች። በወር አንዴ በአገሬው ቋንቋ በዌልስኛ እየወጣች ማን እንደ ወለደ፣ ማን እንዳገባ፣ የማን ውሻ የማንን በግ እንዳባረረ ታወራለች። ማተሚያ ቤቱ ገጾቹን ሳያጥፍ እንደ አንሶላ ዘርግቶ ይልካል፤ ማጠፉ የመንደሩ ሰው ሥራ ነው። ስለዚህ የወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ አመሻሹ ላይ፣ ከጸሎት ቤቱ ጎን ባለችው አዳራሽ ረጅሙን ጠረጴዛ ይከቡታል። አንዱ ያጥፋል፤ ሌላው ያንዱን ወረቀት በሌላው ሆድ ይከታል፤ ቀጣዩ ጠርዙን በጥፍሩ ይደቁሳል፤ የመጨረሻው ይደረድራል። ሻይ አለ፤ ቅቤ የተቀባ የዘቢብ ዳቦ አለ፤ ከሁሉም በላይ ግን ማማረር አለ።

«ወገቤ አለቀ!»

«ቀለሙ እጄን ከሰል አስመሰለው!»

«መምህር፣ በዚህ ወር የሞተ ሰው እንኳ የለ፤ ይህን ሁሉ ገጽ በምን ሞሉት?» ትላለች ግዌንዳ። ግዌንዳ የመንደሩ ፖስታ አዳይና የኔሪስ የልጅነት ጓደኛ ናት። መምህር የምትላቸው የጋዜጣው አዘጋጅ ቱዱር ናቸው፤ ሁለቱንም ፊደል ያስቆጠሩ።

ኔሪስ ማጠፍ የተማረችው በልጅነቷ፣ የእናቷን እጅ እያየች ነው። የኦልዌን እጅ ወረቀቱን የሚነካው አይመስልም ነበር፤ ዳበስ አድርጎት ያልፋል፣ ወረቀቱም እሺ ብሎ ይተኛል። ያን ጊዜ አዳራሿ ጢም ትል ነበር። ወንበር ያጡት ቆመው ያጥፉ ነበር፤ የመስኮቱ መስታወት በሰው ትንፋሽ ያልበው ነበር። ኔሪስ እንቅልፍ ሲጥላት ከጠረጴዛው ሥር የእናቷን ካፖርት ተከናንባ፣ ሳቁንና የወረቀቱን ኮሽታ እየሰማች ታንቀላፋ ነበር። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከዚያ ወዲህ ተኝታ አታውቅም።

ዛሬ ከዚያ ሁሉ ሰው ከኔሪስ ሌላ የቀረው ሰባት ነው። ታናናሾቹ ከተማ ገብተዋል፤ ትልልቆቹ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ አርፈዋል፤ ኦልዌንም እዚያው ናት።

የትምህርቱ መጨረሻ ሲቃረብ ማርጎት አንድ ሥራ ሰጠች፤ በአካባቢያችሁ ያለ አንድ የመገናኛ መንገድ ምረጡና ወደ ዲጂታል አሸጋግሩ። ኔሪስ አላመነታችም፤ ሸለቆን መረጠች። እንደ ተማረችውም መጠይቅ አዘጋጅታ ለአጣፊዎቹ በተነች፤ ከጋዜጣው ሥራ የሚያስቸግርዎ ምንድን ነው? ሁሉም አንድ ላይ የተማከሩ ይመስል ማጠፉ ነው አሉ። ኤምሪስማ በእርሳስ፣ በትልልቁ «ጣቴን ጨረሰው!» ብለው ጻፉ። ኤምሪስ ዕድሜ ልካቸውን መኪና ሲጠግኑ የኖሩ፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ዝምድና ሳይኖራቸው መንደሩ ሁሉ «አጎቴ» ይላቸዋል።

አንጀቷን በሉት። እነዚህን ሰዎች ከዚህ ጣጣ ሳልገላግል አልሞትም አለች። የምሳ ሰዓቷን ሁሉ አፍስሳ ድረ ገጽ ሠራች። እውነት ለመናገር ያምራል፤ በስልክ ይነበባል፣ ፎቶው ጥርት ያለ ነው፣ ዓይኑ ለደከመ ሰው ጽሑፉን ራሱ ጮክ ብሎ ያነብለታል። በአዳራሿ ግድግዳ ላይ አብርታ ስታሳያቸው ሰባቱም አመሰገኗት። በብሪንግላስ ሰው አፉን ሞልቶ ሲያመሰግን ደግ ምልክት እንዳልሆነ፣ የኦልዌን ልጅ ማወቅ ነበረባት።

«እንግዲህ» አሉ መምህር ቱዱር ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ሕትመቱን እናቁም የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

ተያዩ። አንድ እጅ ወጣ፤ ሌላው ተከተለ። ኤምሪስ ጣሪያውን እያዩ በመጨረሻ አወጡ።

«ተመስገን፣ ተገላገልን» አለች ግዌንዳ። የሳቀላት ሰው ግን አልነበረም።

በሳምንቱ ኔሪስ ሥራዋን በስክሪኑ ላይ ለማርጎት አቀረበች።

«ግሩም ነው» አለቻት ማርጎት። «አንባቢዎቹን በደንብ አስበሽላቸዋል። አጣፊዎቹስ?»

«አጣፊዎቹማ ተገላገሉ።»

«ከምን?»

በዚያው ቅጽበት አንዲት ላም ምጥ ይዟት የቢሮው ስልክ አምባረቀ፤ እሷም እግዜር ይስጥልኝ ብላ ሮጠች። ጥያቄው ግን እንደ አሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

የወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ደረሰ። ኤምሪስ ኮምፒውተር የላቸውም፤ ስልካቸውም ከመደወል ሌላ ሥራ አያውቅም። ስለዚህ ኔሪስ አዲሱን እትም በቢሮዋ ማተሚያ፣ በሰፋፊ ወረቀት አንድ ቅጂ አወጣችላቸውና ከረጢት ውስጥ ከታ፣ ከሥራ ስትወጣ ቤታቸው ሄደች። በራቸው ዝግ ነው፤ መብራት የለም። ደንገጥ አለች። እሳቸው ከማጠፊያው ሐሙስ በቀር በምሽት ደጅ የሚወጡ ሰው አይደሉም፤ ማጠፉ ደግሞ ቀርቷል። ጎረቤት ልትጠይቅ ቁልቁል ስትወርድ የአዳራሿ መስኮት በርቶ አየች።

በሩን ገፋ አደረገችው። ሰባቱም አሉ። ባዶውን ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዳቸው በየለመዱት ቦታ ተቀምጠዋል። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ በእጃቸው ምን እንደሚያደርጉበት የጠፋቸው ይመስላሉ።

«የኬክ ቆርቆሮዬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች ግዌንዳ ማንም ሳይጠይቃት። ቆርቆሮው ጭኗ ላይ ነው፤ ዳቦው ተቆርሶ ተበልቷል።

«እኔ ማሞቂያው በርቶ ቀርቶ እንደሆነ ብዬ…» አሉ መምህር ቱዱር።

«እኔን ዝናብ ነው ያስገባኝ» አሉ ኤምሪስ። ውጭ ጠብታ የለም።

ኔሪስ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። «ማጠፉን የምትጠሉት መስሎኝ ነበር እኮ።»

«እንጠላዋለን እንጂ!» አለች ግዌንዳ ቱግ ብላ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠላው የኖርኩትን ነገር ቀማሽኝ እኮ አንቺ!»

«ታዲያ እጅሽን ለምን አወጣሽ?»

«መምህር የደከማቸው መስሎኝ ነዋ!»

«እኔ?» አሉ ቱዱር። «እኔ እኮ እናንተ የሰለቻችሁ መስሎኝ ነው። አንተስ ኤምሪስ?»

«ልጅቷን ላለማስቀየም» አሉ ኤምሪስ የሻይ ስኒያቸውን እያዩ። «የኦልዌን ልጅ አይደለች?»

«ስህተቱ የኔ ነው» አለች ኔሪስ። «የሚያስቸግራችሁን ጠየቅኩ እንጂ ወደዚህ የሚያመጣችሁን አልጠየቅኩም።»

«ብትጠይቂንም አንነግርሽም ነበር» አሉ ኤምሪስ።

«እኔ ግን እነግራችኋለሁ። እማዬን የማገኛት እዚህ ብቻ ነበር። በየማጠፊያው ሐሙስ፣ ከእናንተ ጋር ሳጥፍ፣ አጠገቤ ያለች ይመስለኝ ነበር። ናፍቃኛለች። እናንተም ናፍቃችሁኛል፤ ከተለያየን ገና ወር ሳይሞላ።»

በዚያች አዳራሽ ውስጥ እንደዚህ ያለ ነገር በግልጽ ተነግሮ አያውቅም። መምህር ቱዱር መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ያዙ። ግዌንዳ ሻይ ቀዳችና፣ ስኳሩን ከልክ በላይ አብዝታ፣ ወደ ኔሪስ ገፋችላት።

«ከረጢቱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አሉ ኤምሪስ።

«የእርስዎ ጋዜጣ ነው አጎቴ። ኮምፒውተር የለዎትም ብዬ ያሳተምኩልዎ።»

«ታጥፏል?»

«አልታጠፈም።»

ኤምሪስ እጃቸውን ዘረጉ። ወረቀቶቹን ተቀብለው ለአጠገባቸው ሰው አሳለፉ፤ እሱም እስከ ጠረጴዛው ራስ አሳለፈ። ኔሪስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንድ ጋዜጣ፣ ስምንት ጥንድ እጅ። አንዱ አጠፈ፤ ሌላው ያንዱን ወረቀት በሌላው ሆድ ከተተ። ግዌንዳ ጠርዙን በጥፍሯ ደቆሰች፤ ጊዜ እንዲፈጅ ብላ ደግማ ደቆሰችው። ማንም አልተቻኮለም። እንዲያም ሆኖ አንድ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀና ጋዜጣው ደርዳሪው ኤምሪስ ፊት ደረሰ። የሚደረድሩት ሌላ ግን አልነበረም። ሁሉም የሳቸውን ፊት ያያሉ።

ኤምሪስ ጋዜጣውን አነሱት፤ ወደ መብራቱ አስጠግተው አገላብጠው አዩት። ከዚያ እያንዳንዱን ወረቀት ፈትተው ዘረጉ፤ በመዳፋቸው ዳምጠው አለሳለሱትና ወደ ጠረጴዛው ራስ መልሰው ገፉት።

«ጠማማ ነው» አሉ። «እንደገና።»